የሠራተኛው ፓስፖርት ማን ጋ ነው?

የሀረጎን ዳገት ሽቅብ የሚወጣው የኤሌክትሪክ መኪና በዝቷል። መንግሥት እ.ኤ.አ. በ2024 መጀመሪያ ላይ የነዳጅ መኪና እንዳይገባ ከከለከለ ወዲህ ደሴም ኮምቦልቻም ወሬው ስለ ባትሪና ስለ ቻርጅ ነው። ጭስ የለው፣ ድምፅ የለው፣ አጀብ ነው! እኔን የሚከነክነኝ ግን የሠሩት ሰዎች ጉዳይ ነው።

እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 2024 የብራዚል የሥራ ተቆጣጣሪዎች ባሂያ በተባለው ግዛት ይገነባ በነበረው የቻይናው የመኪና ድርጅት የቢዋይዲ ፋብሪካ 163 ቻይናውያን ከባርነት በማይለይ ሁኔታ ሲሠሩ አገኘን አሉ። ፍራሽ የሌለው አልጋ፣ ለ31 ሰው አንድ ሽንት ቤት፣ የተያዘ ፓስፖርት፣ የተያዘ ደመወዝ። ሰዎቹን የቀጠረው ኮንትራክተር ነው። እሱ አስተባበለ፣ ቢዋይዲ ደግሞ ውሉን አቋረጠ።

ይሄ ለወሎ ሰው ይነገረዋል እንዴ? ከሐርቡ፣ ከባቲ፣ ከመርሳ ዓረብ አገር የሄደችን ልጅ ጠይቁ። ገና ሳትነሳ የደላላ ዕዳ አለባት፣ እዚያ ስትደርስ ፓስፖርቷን አሠሪው ይይዘዋል፣ ደመወዙ «ቆይ ይጠራቀምልሽ» ይባላል፣ ከዚያ በኋላ በሩን መቆለፍ እንኳ አያስፈልግም።

ትልልቆቹ የመኪና ድርጅቶች ግን የሚያዩት ወረቀት ነው። አንድ መኪና 30,000 ገደማ ክፍሎች አሉት። ድርጅቱ በቀጥታ የሚሸጥለትን ያውቃል፣ ከሱ በታች ያለውን ግን እምብዛም አያውቀውም፤ ለባትሪው የሚገባው ኮባልት የተባለ ማዕድን በአብዛኛው ከኮንጎ ነው፣ ለቀለሙ ማብረቅረቂያ የሚገባውን ሚካ የተባለ ማዕድን ደግሞ ሕንድና ማዳጋስካር ውስጥ ሕፃናት ጭምር ይለቅሙታል። ኦዲተሩ ቀጠሮ ይዞ ይመጣል፣ መዝገብ ያገላብጣል፣ ሠራተኛውን አለቃው እያየ ያናግራል። በአለቃው ፊት ማን እውነቱን ይናገራል?

እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣው የእንግሊዝ ሕግ ትልልቅ ድርጅቶችን የግዳጅ ሥራን ለመከላከል ምን እንዳደረጋችሁ በየዓመቱ መግለጫ አውጡ ይላል፤ «ምንም አላደረግንም» ብሎ መጻፍም ይቻላል፣ ቀልድ ነው። እ.ኤ.አ. በ2021 የወጣው የአሜሪካ ሕግ ግን ይነክሳል። ሺንጂያንግ ከተባለው የቻይና ግዛት የመጣ ዕቃ በግዳጅ ሥራ እንደተሠራ ይቆጠራል፣ አይደለም የሚል አስመጪ ራሱ ማስረዳት አለበት። እ.ኤ.አ. በ2024 በሺዎች የሚቆጠሩ ፖርሸ፣ ቤንትሌይና ኦዲ መኪኖች በአንዲት ትንሽ የኤሌክትሮኒክስ ዕቃ ሰበብ አሜሪካ ወደብ ላይ ተገትረው ነበር።

እኔን ቢጠይቁኝ ሠራተኛውን ለብቻው፣ በቋንቋው፣ ከግቢው ውጭ አግኙት እላለሁ። ማን ላከህ? ስንት ከፈልክ? ከማን ተበደርክ? ፓስፖርትህ ማን ጋ ነው? ነገ ልውጣ ብትል ማን ይከለክልሃል? ለቅጥር የከፈለው ገንዘብ ካለም ይመለስለት፤ ከሠራተኛ የቅጥር ክፍያ አይወሰድም የሚለውን የዓለም ሥራ ድርጅት ስምምነት ቁጥር 181 እኛም አገር ተቀብለነዋል።

ችግሩ ሲጋለጥ ደግሞ ውል ቀዶ መሸሽ ብቻውን ምንም አያደርግም። ድርጅቱ ስሙን ያጸዳል፣ ኮንትራክተሩ ሌላ ሥራ ያገኛል፣ ሰውየው ከነዕዳው ወደ ቤቱ ይመለሳል፣ ደላላው ደግሞ ቤቱን ያውቀዋል።