አገር ቤት መሄድ ዕረፍት አይደለም

ርዕሱን ያየ ሰው ሳያነብ እንዳይቀየመኝ ልቅደም፤ አገሬን እወዳለሁ፣ እናቴም እስካሁን ቀጨኔ ነው የምትኖረው። ነገር ግን ፍራንክፈርት ውስጥ በአረጋውያን መንከባከቢያ በፈረቃ የምሠራ፣ አውቶቡስ ነጂ ከሆነው ባለቤቴ ጋር ሦስት ልጆች የማሳድግ ሴት ስለሆንኩ ይህን ሳልናገር አላልፍም። በየሁለት በየሦስት ዓመቱ ቋጥረን ቋጥረን አዲስ አበባ የምናራግፈው ገንዘብ የዘመድ ጥየቃ ወጪ ነው። ልቅሶ ይደረሳል፣ አራስ ይጠየቃል፣ ሳንኖር ያለፈ ሠርግ በስጦታ ይካሳል። ይገባል፣ እኔም አልቆጭበትም። የብዙዎቻችን ኪስ የሚራቆተው ግን ይህንንና ዕረፍትን በአንድ ሒሳብ ስለምናስገባቸው ነው።

እስቲ ሒሳቡን እንየው። ከፍራንክፈርት አዲስ አበባ ቀጥታ በረራ አለ፤ ማታ ተነስቶ ጠዋት ቡና ላይ መድረስ ነው። ሁለት ዓመት ያልሞላው ሕፃን በእቅፍ ጥቂት ከፍሎ ይሄዳል፤ ሁለት ዓመት ካለፈው ግን የራሱ ወንበር አለው፣ ዋጋውም ከአዋቂው ብዙ አይርቅም። ትምህርት ቤት በሚዘጋበት ሰሞን የአምስታችን ትኬት ብቻ ከ4,000 ዩሮ ይበልጣል። ይህ ገና ደጃፉ ነው። ለአንድ ሰው 23 ኪሎ የሚይዝ ሻንጣ ሁለት ሁለት ይፈቀዳል፤ ለአምስት ሰው አሥር ሻንጣ፣ 230 ኪሎ ማለት ነው። አንዳንዴ ምነው ባልተፈቀደልን እላለሁ፤ ባዶ ቦታ ያለው ሻንጣ ሐበሻ ቤት አያድርም። የእማዬ የደም ግፊት መለኪያ፣ የአክስቴ ልጅ 43 ቁጥር ጫማ፣ የጎረቤት ልጅ ስልክ፣ የባለቤቴ እናት «ከዚያ አገር የሚመጣው ይሻላል» የሚሉት የጉልበት ቅባት። ከመሄዳችን በፊት ባለው ሌሊት ባለቤቴ የእጅ ሚዛኑን ሻንጣው ላይ አንጠልጥሎ «ሃያ አራት ተኩል!» ይላል፤ እኔ አንድ ሻምፖ አወጣለሁ፤ እንደገና ያነሳል፤ ልጆቹ በተራቸው የሚወጣውን ዕቃ ይገምታሉ። የሚወጣው ሁልጊዜ የእኔ ልብስ ነው።

እዚያ ስንደርስ ደግሞ ጋባዦች እኛ ነን። ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ጀምሮ የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በአንድ ዓመት ውስጥ ከእጥፍ በላይ ሆኗል። «እናንተማ በዩሮ ነው፣ ምን ትሆናላችሁ» ይሉናል። እውነት አለው። ነገር ግን ዘይቱም፣ ሥጋውም፣ የታክሲውም ዋጋ አብሮ ተነስቷል፤ ጠረጴዛው ላይ የሚቀርበው ሰውም አልቀነሰም። ተመልሼ ሥራ በገባሁ ማግስት የሥራ ባልደረባዬ «መቼም በደንብ አርፈሻል» ስትለኝ ዓይኔ እያበጠ ነበር የሰማኋት።

አገር ቤት በማንሄድበት ዓመትስ? ቤት ነው የምንከርመው። ጀርመን ውስጥ የልጆች የትምህርት ዕረፍት በዓመት ወደ 12 ሳምንት ይጠጋል፤ ዋናው የበጋው ዕረፍት ብቻ ስድስት ሳምንት ነው። የሠራተኛው ደግሞ በሕግ ዝቅተኛው አራት ሳምንት ነው፤ ጥሩ የኅብረት ስምምነት ያለው መሥሪያ ቤት ወደ 30 የሥራ ቀን ያደርሰዋል። ስለዚህ ባልና ሚስት እየተፈራረቁ ልጅ ይጠብቃሉ እንጂ አብረው አያርፉም። ከተማው ክፉ አይደለም፤ የፍራንክፈርት መዋኛዎች ለልጆች ነፃ ናቸው፣ ከ18 ዓመት በታች ላሉት ሙዚየሞቹና የእንስሳት ማቆያው በነፃ የሚያስገባ ካርድ አለ። ትምህርት ሲከፈት ግን መምህሯ ልጆቹን ክብ ሠርታ ታስቀምጥና «የት ነበራችሁ?» ትላለች። አንዱ ቱርክ፣ አንዷ ክሮኤሺያ፣ ሌላው ማዮርካ። የእኔ መካከለኛው ልጅ «ከአባቴ ጋር በአውቶቡስ ስዞር ከረምኩ፣ በሩን የምከፍተው እኔ ነበርኩ» ብሎ ክፍሉን ሁሉ አስቀንቶ መጣ። እሱ ምንም አልጎደለበትም። የጎደለብኝ እኔ ነኝ። ቤት ውስጥ እያሉ ማረፍ ለእናት አይሆንም፤ ድስቱም፣ ልብስ ማጠቢያውም፣ ስልኩም እዚያው ናቸው።

ታዲያ ሁለት ኪስ አበጀን። አንደኛው የአዲስ አበባ ነው፣ እሱም በዕቁብ ይሄዳል። አሥር ሴቶች ሆነን በወር 150 ዩሮ እንጥላለን፤ ዕጣው 1,500 ዩሮ ነው። ዳኛችን እኔ የማከብራቸው፣ ገንዘብ ያዘገየ ሰው ቤት ራሳቸው በር የሚያንኳኩ እትዬ ናቸው፤ አስቸኳይ ጉዳይ ላለው ዕጣ መለዋወጥ ይፈቀዳል፣ ሥራ የለቀቀ ግን አስቀድሞ ይናገራል። ሁለት ዙር ሲሞላ 3,000 ዩሮ ይሆናል፣ ቀሪውን ኅዳር ላይ ከሚከፈለን የገና ጉርሻ እንሞላለን። ትኬት የሚገዛው ከዚህ ብቻ ነው። ካልሞላ ጉዞው ይተላለፋል እንጂ ክሬዲት ካርድ አይወጣም።

ሁለተኛው የዕረፍት ነው፤ በወር 60 ዩሮ። ደመወዝ በገባ ማግስት ባንኩ ራሱ ወደ ሌላ ሒሳብ እንዲያዛውረው አዘናል፤ ዓይናችን ሳያየው ይሄዳል። በዓመት 720 ዩሮ። ለአንድ ልጅ በወር የሚከፈለው የልጆች አበል ከጥር 2026 እ.ኤ.አ. ጀምሮ 259 ዩሮ ነውና ከእሱ ለምን አልቀነስሽም የሚለኝ አለ። የሦስቱ 777 ዩሮ ነው፣ የፍራንክፈርትን የቤት ኪራይ ለሚያውቅ ሰው መልሱ ግልጽ ነው። 60 ዩሮውን ያገኘነው ከውጭ ምግብና ከአንድ የቴሌቪዥን ክፍያ ነው። ለቤተሰብ በየወሩ የምንልከው አልተነካም፤ ይህን የምጽፈው ወንድሜ ማንበቡ ስለማይቀር ነው።

ወንድም ጋሼ ከኔ በብዙ ዓመት ይበልጣል። የዕረፍታችንን የመጀመሪያ ፎቶ ፌስቡክ ላይ እንዳየ ደወለ። «ለሽርሽር የሚሆን ተገኘ ማለት ነው?» አለኝ። ስድብ አልነበረም፤ በዚያ ዓመት የቤቱ ጣሪያ ሊታደስ ነበርና የሚለውን አውቄዋለሁ። ለጣሪያው የላክነውን አስታውሼው፣ ይኼኛው ሌላ ኪስ እንደሆነ ነገርኩት። «እሺ፣ ደግ» ብሎ ስለ ልጆቹ ጠየቀ። ብዙ ሰው ፎቶ መለጠፍ ያቆማል፤ እኔ አልደብቅም። የተደበቀ ዕረፍት እንደ ስርቆት ያሳቅቃል፣ የተናገሩት ግን አንዴ አነጋግሮ ያልፋል።

ቀን መምረጡ ከገንዘቡ አያንስም። እ.ኤ.አ. በ2025 ፍራንክፈርት ያለችበት የሄሰን ክፍለ ግዛት ትምህርት ቤቶች ከጁላይ 7 እስከ ኦገስት 15 ተዘግተው ነበር። ሰፊ ይመስላል። የሐዋርያት ጾም የሚፈታው ሐምሌ 5 ነው፣ ይኸውም ጁላይ 12፤ ፍልሰታ ነሐሴ 1 ትገባለች፣ ኦገስት 7። ከመካከሉ የሚቀረን የእኔና የባለቤቴ ፈረቃ የሚገጣጠምበት ሳምንት ነው፤ የእኔ መሥሪያ ቤት ደግሞ የዓመቱን የፈቃድ ዕቅድ ቀደም ብሎ ይሰበስባል። ሕጉ የሠራተኛው ማኅበራዊ ሁኔታ ይታይ ይላል፣ ለትምህርት የደረሰ ልጅ መኖሩም ከዚህ ይቆጠራል፤ ችግሩ በእኛ ክፍል ሁሉም ልጅ አለው። ትኬቱ ይርከሳል ብላችሁ ደግሞ ትምህርት ሳይዘጋ ልጅ ይዛችሁ እንዳትወጡ። ቅጣት አለው፤ ባቫሪያ ውስጥ ፖሊስ አውሮፕላን ማረፊያ ላይ ልጆች ለምን ትምህርት ቤት እንዳልሆኑ ወላጆችን የጠየቀበት ጊዜ አለ። እያንዳንዱ ክፍለ ግዛት በተለያየ ጊዜ የሚዘጋ መሆኑ ግን ይጠቅማል፤ ባቫሪያ ኦገስት ላይ ነው የሚዘጋው፣ እኛ ቀደም ብለን በምንዘጋበት ዓመት እዚያ ያለው ማረፊያ ገና አልተጨናነቀም።

የሄድነው ባኻራኽ ነው፤ ራይን ወንዝ ዳር ያለች ትንሽ የወይን ከተማ። ከተራራው ላይ ሽታሌክ የሚባል ግንብ አለ፤ በ1689 የፈረንሳይ ወታደሮች ያፈረሱት፣ ባለፈው መቶ ዓመት እንደገና የተሠራና አሁን የወጣቶች ማረፊያ የሆነ። እነዚህ ማረፊያዎች በመላ ጀርመን አሉ፤ የመጀመሪያው ቋሚ ማረፊያ አልቴና ግንብ ውስጥ ነው የተከፈተው። «የወጣቶች» ይባሉ እንጂ ለቤተሰብ ክፍል አላቸው፤ በዓመት አነስተኛ የአባልነት ክፍያ ይጠይቃሉ። ለአምስታችን ከነቁርሱ አንድ ሌሊት ከ150 ዩሮ ብዙም አልራቀም። በዚያ ሰሞን ለአምስት ሰው ሆቴል ብትፈልጉ ሁለት ክፍል ውሰዱ ይሏችኋል።

ባለቤቴ መጀመሪያ አልወደደውም። «እኔ ተምሬ ጨርሻለሁ፣ አዳሪ ትምህርት ቤት አልገባም» አለ። አንሶላውን ከእንግዳ መቀበያው ተቀብለን አልጋውን ራሳችን ስናነጥፍ ደግሞ ከፍለን መሥራታችን አስገረመው። ተደራራቢው አልጋ ላይ ማን ከላይ እንደሚተኛ በልጆቹ መካከል ጦርነት ተነሳ፣ ትንሿ አሸነፈች። ከከተማው ወደ ግንቡ የሚወስደው ደረጃ የዋዛ አይደለም፤ ሻንጣ በጀርባ የሚታዘል መሆን አለበት፣ ጉልበት የሚያመው ሰው ደግሞ ታክሲ ይፈልግ። ሌሊት በወንዙ ግራና ቀኝ የዕቃ ባቡር ያልፋል፤ እንቅልፉ ቀላል የሆነ ሰው የጆሮ መድፈኛ ይያዝ። ከዚህ በቀር የማማርረው የለኝም። ጠዋት ቁርስ ላይ ባለቤቴ ከኪሱ ትንሽ ብልቃጥ አውጥቶ እንቁላሉ ላይ ሚጥሚጣ ሲነሰንስ የጎረቤት ጠረጴዛ ልጅ ፈዞ ቀረ። «ልቅመሰው» አለ፤ እናቱ ፈቀደች፤ ሁለት ብርጭቆ ወተት ጠጣ። ለምሳ ድፎ ዳቦና ቆሎ ከቤት ይዘን ነበር፤ ከግንቡ ግቢ ራይንን ቁልቁል እያየን በላን።

በጀልባ ካውብ ድረስ ሄድን። እዚያ ወንዙ መካከል ላይ የቆመ ግንብ አለ፤ በመካከለኛው ዘመን የሚያልፉ መርከቦች ቀረጥ የሚከፍሉበት። ባለቤቴ ይህን ሲሰማ «ጉምሩክ! ሻንጣ ያስፈቱ ነበር ማለት ነው» አለ፤ ልጆቹ ቦሌን ያውቃሉና ሳቃቸው ጀልባውን አናወጠው። እናቴ ፎቶውን አይታ የጠየቀችው ሌላ ነው። «ይህን ግንብ ተከራያችሁት ወይስ ገዛችሁት?» ስለ አንሶላው ስነግራት በጣም ደስ አላት፤ «ቤት አያያዝሽን አሳየሻቸው» አለችኝ።

መጓጓዣው ርካሽ ነበር። እኔና ባለቤቴ ለሥራ የምንይዘው የመላ ጀርመን ወርሃዊ ትኬት አለን፤ በግንቦት 2023 በ49 ዩሮ ተጀምሮ በ2025 58፣ ከጥር 2026 ጀምሮ 63 ዩሮ ሆኗል። በፈጣኑ ባቡር አያስኬድም፤ በክልል ባቡሮች ግን ማይንዝ ላይ ቀይሮ ባኻራኽ መውረድ ነው። ለሁለቱ ትልልቆች የልጅ ትኬት ገዛን፣ ከስድስት ዓመት በታች ያለችው በነፃ ነች። ሩቅ መሄድ የምትፈልጉ ደግሞ ይህን ያዙ፤ በፈጣን ባቡር ከ6 እስከ 14 ዓመት ያሉ ልጆች ከወላጅ ጋር በነፃ ይሄዳሉ፣ ትኬቱ ሲገዛ ግን መመዝገብ አለባቸው። ወንበር ማስያዝ ነው አሁን የሚያስከፍለው። ቀድሞ ለቤተሰብ በሙሉ 10.40 ዩሮ ነበር፤ ከሰኔ 2025 ጀምሮ ያ ቀርቶ በሁለተኛ ማዕረግ ለእያንዳንዱ ወንበር 5.50 ዩሮ ሆኗል። ለአምስት ሰው 27.50፣ ያውም ለመሄጃው ብቻ።

ስለ አንድ ሌላ ነገርም ሐበሻ እናቶች ስለማይጠይቁ ልጥቀስ። ጤናዋ በድካም የተጎዳ እናት፣ አባትም ቢሆን፣ ሐኪም ካመነበት ከልጆች ጋር ሦስት ሳምንት የሚቆይ የማገገሚያ ጊዜ በጤና መድኅን ይከፈልለታል፤ ከአዋቂው በቀን 10 ዩሮ ብቻ ይጠየቃል። ሕክምና ነው፣ መርሐ ግብሩ ጥብቅ ነው፣ ሽርሽር ብሎ የሚሄድ ያዝናል። አንዲት ጓደኛዬ ሰሜን ባሕር ሄዳ ስትመለስ ሰፈሩ «ታመመች አሉ» ብሎ አወራ። እሷ ግን ጀርባዋ ተሽሏት ነው የመጣችው፣ ወሬውን ለመስማት ጊዜ አልነበራትም። ገቢያቸው ዝቅተኛ ለሆነ ቤተሰቦች የበጎ አድራጎትና የቤተ ክርስቲያን ድርጅቶች የሚያስተዳድሯቸው የቤተሰብ ማረፊያዎችም አሉ፤ አንዳንድ ክፍለ ግዛቶች ድጎማ ይሰጣሉ። ማመልከቻው ከጉዞው በፊት ነው የሚገባው፤ ከተመለሱ በኋላ ደረሰኝ ይዞ መሄድ ዋጋ የለውም።

በሚመጣው ዓመት ተራው የአዲስ አበባ ነው፤ ዕቁቡ ሁለተኛ ዙር ላይ ይገኛል። ስጦታውን በተመለከተ ከወንድም ጋሼ ጋር ተነጋግረን ለቤተሰቡ በሙሉ ከሁለት ሻንጣ እንዳይበልጥ ተስማምተናል፤ ዝርዝሩን የሚይዘውም፣ የቀረበትን የሚያስታርቀውም እሱ ነው። ባለቤቴ ከዚያ መልስ ባልቲክ ባሕር እንሂድ ይላል። በ60 ዩሮው አይደረስም፣ ወይ 75 ማድረግ አለብን፣ ወይ እሱ ሲጋራውን ይተው። ድርድሩ ቀጥሏል።