የማናህሎሽ የመጨረሻ ምዕራፍ፤ ስድስት ስንኝ የሰረዝኩበት ገጽ

ማናህሎሽ በሥዕል የምተርከው የኮሚኬ ጀግና ናት። ትናንት የምዕራፍ 5ን 22ኛ ገጽ በቀለም ጨረስኩ። ሁለት ገጽ ብቻ ቀረኝ። ከሦስት ዓመት በፊት «ሾተል (የታጠፈ ሰይፍ) ስለታጠቀች ሴት ኮሚክ ልሥራ» ብዬ ስነሳ እዚህ የምደርስ አልመሰለኝም ነበር። በጣም ደስ ብሎኛል። የጀመራችሁትን ታሪክ መቋጨት ያቃታችሁ ካላችሁ፣ ያሳለፍኩትን ላካፍላችሁ።

የመጀመሪያዎቹን አራት ምዕራፎች በአጭሩ ልለፋቸው። ምዕራፍ 1 ላይ እጅ መሳል አልችልም ነበር። ማናህሎሽ በብዙ ፓነል (የሥዕል ሳጥን) እጇን ጋቢዋ ውስጥ ከትታ የምትታየው ለዚህ ነው። ምዕራፍ 2 ላይ ፈረስ ተማርኩ። በ3 እና በ4 ትንሽ ትንሽ ተሻሻልኩ። ኤ3 ወረቀት ላይ በእርሳስ እነድፋለሁ፤ በ0.3 እና በ0.5 ብዕር አደምቃለሁ፤ ከዚያ ስካን አድርጌ ጥላውን ክሪታ በተባለ የሥዕል ሶፍትዌር እሞላለሁ። ክሪታ ነጻ ነው። ለሶፍትዌር ገንዘብ ከማውጣታችሁ በፊት እሱን ሞክሩት።

ምዕራፍ 5 ግን ሌላ ነገር ነው። የሰይፍና የአስማት ታሪክ መጨረሻ አይወድም። የዚህ ዘውግ ታዋቂዋ ጦረኛ ሬድ ሶንያ በማርቭል ኮሚክ የወጣችው በ1973 እ.ኤ.አ. ነው፤ እስካሁንም ትጋልባለች። አንዱ ጠንቋይ ሲወድቅ ሌላው ይነሳል። እኔ ግን ማናህሎሽ ቤቷ እንድትገባ ፈለግኩ። ልብስም አለበስኳት፤ ደጋ ላይ እንደ ሬድ ሶንያ በብረት ጡት መያዣ የሚዋጋ ሰው የለም። በዚህ አልደራደርም።

ታሪኩ ይኸው። የማናህሎሽን ታላላቆች ሾተላይ (ሕፃናትን ይገድላል የሚባለው መንፈስ) ወስዷቸዋል። እሷ ልጅ ሳለች እናቷ ደብተራ ዘንድ ሄዳ ክታብ አስጻፈችላት። እንደምታውቁት የክታብ ብራና ከፍየል ወይም ከበግ ቆዳ ተፍቆ፣ ቁርጥራጩ ተሰፍቶ፣ ብዙ ጊዜ በባለቤቱ ቁመት ልክ ይዘጋጃል። ጸሎቱ በግዕዝ ነው። የባለቤቱ ስም በቀይ ቀለም ይገባል። መሃል ላይ ዓይን ያለው ጠልሰም (የመጠበቂያ ሥዕል) ይሳላል። በእኔ ታሪክ መተተኛው ይህን ክታብ ሰርቆ ገልብጦታል፤ ለመጠበቂያ የተሠራውን ማሰሪያ አደረገው። አራት ምዕራፍ ሙሉ ክታቡ በተዘረጋ ቁጥር ማናህሎሽ ክንዷ ይዝላል።

መፍትሔው የመጣልኝ አንድ ሌሊት ተኝቼ ሳለሁ ነው። ክታቡ የተለካው በልጅነቷ ነው። አሁን አድጋለች! መተተኛው ሲዘረጋው ደረቷ ጋ ነው የሚደርሰው። አይበቃትም።

ይህን ሳገኝ ዘልዬ ተነሳሁ። ከዚያ ግን 20ኛው ገጽ ላይ ሁለት ወር ተቀመጥኩ።

ችግሩ ንግግሩ ነበር። ጦረኛ ናትና መፎከር አለባት ብዬ ስምንት ስንኝ ጻፍኩ። ስለ እናቷ፣ ስለ ክታቡ፣ ስለ ማደጓ፣ ሁሉንም አስረዳች። ጥሩ ፉከራ ነበር። የንግግር ፊኛው (ንግግሩ የሚጻፍበት ክብ) ውስጥ ግን አልገባም። የአማርኛ ቃል ረጅም ነው፤ «እስክንመለስላችሁ» አንድ ቃል ነው። ጠባብ ፊኛ ውስጥ በመስመር አንድ ቃል ብቻ ይቀመጥና ዙሪያው ባዶ ይቀራል። ፊኛውን ሳሰፋው ደግሞ ሾተሉን ይሸፍናል። ጩኸት ለማሳየትም የእንግሊዝኛው ትልቅ ፊደል የለንም። እኔ ወፍራም ብዕር ነው የምጠቀመው።

የድሮ ጸሐፊዎችን አሠራር ሞከርኩ። ብራና ላይ መስመሩ ሲያልቅ ቃሉን የትም ይሰብሩታል፤ የቃሉን መጨረሻ ሁለት ነጥብ ስለሚያሳይ አንባቢ አይጠፋውም። እኔም ሰበርኩ። ሁለት ነጥብ መጻፍ ግን ትቻለሁ፤ ስለዚህ ያነበቡልኝ ጓደኞቼ ሁሉ ተደናቀፉ። ከዚያ በኮምፒውተር ፊደል ሞከርኩ። በእጅ የተሳለ ሥዕል ላይ የኮምፒውተር ፊደል እንደተለጠፈ ማስታወቂያ ነው፤ እባካችሁ አታድርጉት። የራሴን እጅ ጽሑፍ ወደ ፎንት ልቀይር ብዬም ጀመርኩ። የኛ ግን 26 ፊደል አይደለም፤ 33 በ7፣ ዋናዎቹ ብቻ 231 ናቸው። «ጨ» ጋ ስደርስ ተውኩት።

የሠራልኝ አንድ ነገር ነው፦ ፊደሉን ከሥዕሉ በፊት በእጅ መጻፍ፤ መስመሩንም ቤት መምቻው ላይ ብቻ መስበር። ፉከራ ግጥም ነው። ቤት የሚመታበት ቦታ ካልታየ ጆሮ ላይ አይገባም። ፊኛው የግጥሙን ቅርጽ ይከተል እንጂ ግጥሙ ፊኛውን አይከተል።

በዚህ መንገድም ስምንቱ ስንኝ የገጹን ግማሽ በላ። መቁረጥ ደግሞ አልቻልኩም። እውነቱን ልናገር፤ የወደድኩትን ጽሑፍ መሰረዝ ያመኛል። በመጨረሻ ገጹን ያለ ምንም ጽሑፍ ለ12 ዓመቷ የእህቴ ልጅ ሰጠኋት። አንድ ረጅም ፓነል ነው፤ ከላይ እስከ ታች፣ እንደ ክታቡ ራሱ። ማናህሎሽ ቆማለች፤ ክታቡ አጠገቧ ተንጠልጥሏል። ልጅቷ ዝም ብላ አየችው። ከዚያ ጣቷን ክታቡ ጫፍ ላይ አድርጋ ወደ ማናህሎሽ ራስ አንቀሳቀሰችው። «ውይ! አጥሯታል እኮ!» አለችኝ።

ያን ማታ ስድስት ስንኝ ሰረዝኩ። የቀሩት እነዚህ ናቸው፦

የቆለኛው ልጅ ናት የደገኛ ምራት፣
ጥንቆላ አይበግራት ክታብ አያስፈራት።

እነሱም ከ20ኛው ገጽ ወጥተው 21ኛው ላይ ነው የገቡት። 20ኛው ላይ «ዘራፍ» እንኳ የለም። ገጹ የሚታየው አንባቢ 19ኛውን ሲገልጥ ስለሆነ መጀመሪያ ዓይኑ ይስራ ብዬ ነው። ትልቅ ትዕይንት ያላችሁ ሰዎች ጥንድ ቁጥር ባለው ገጽ ላይ አድርጉት፤ እኔ ይህን ያወቅኩት ምዕራፍ 3 ላይ ዘግይቼ ነው።

ስለ ምት ወይም ስለ አናቶሚ ምክር አትጠይቁኝ፤ ገና እየተማርኩ ነው። ስለ ሾተል ግን አንድ ነገር ልበል። ያን ያህል የታጠፈው የባላንጣን ጋሻ ዞሮ ለመውጋት ነው። ቀጥ ባለ ሰይፍ ምት ከሳላችሁት ውጊያው ሁሉ ውሸት ይሆናል። የሚታጠቁትም በቀኝ ወገብ ነው። እኔ ይህን ሳላጣራ ሦስት ምዕራፍ በግራ ሳልኩት። የድሮ ሥዕሎችንና ፎቶዎችን ሳይ ነው የደነገጥኩት።

ስለዚህ ከሁለቱ ገጾች ሌላ የቀረኝ ሥራ እሱን ማስተካከል ነው። ቆጠርኩት፤ 61 ፓነል ነው። ዛሬ ጠዋት አራቱን ወደ ቀኝ መለስኩ።