ሰማያዊ ታፔላዎችን እየቆጠርኩ፦ ከሴገድ እስከ ቫሻርሄይ

የአክስቴ ልጅ ሃንጋሪ፣ ሴገድ ዩኒቨርሲቲ ይማራል። ስቲፔንዲየም ሁንጋሪኩም በሚባለው የሃንጋሪ መንግሥት የትምህርት ዕድል ነው የሄደው። እኔ ቪየና ነኝ። ሦስት ዓመት ሙሉ "ጋሼ፣ አንድ ቀን ና እንጂ!" ሲለኝ፣ እኔም "እመጣለሁ" ስለው ከረምን። በመጨረሻ አክስቴ ራሷ ከአዲስ አበባ ደወለች። "ልጄን በዓይንህ አይተህ፣ ፎቶ አንስተህ ላክልኝ" አለች። አክስቴ እንዲህ ካለች በኋላ መቅረት የለም።

(ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶች በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

ከቪየና ቡዳፔስት በባቡር ሦስት ሰዓት አይሞላም። እዚያ አንድ ሌሊት ብቻ ነው ያደርኩት። ግን ቢጫዋን የምድር ውስጥ ባቡር ሳልሳፈር አላለፍኩም። አንድራሺ ጎዳና ሥር ነው የምትሄደው። ጥልቅ አይደለችም፤ ጥቂት ደረጃ ወርደህ ሐዲዱ ፊትህ ነው። ፉርጎዎቿ አጫጭር፣ ጣሪያዋ ዝቅ ያለ፣ ምሰሶዎቿ ብረት። የተከፈተችው በሜይ 1896 ነው። ዓመቱን ሳነብ ቆም አልኩ። አድዋ ላይ ከተዋጋን ሁለት ወር በኋላ መሆኑ ነዋ። በ2002 ከነጎዳናዋ የዓለም ቅርስ ተብላ ተመዘገበች። ቅርስ ናት ተብሎ ግን መስታወት ውስጥ አልተቀመጠችም። አጠገቤ የቆመችው ሴትዮ የገበያ ዘንቢል ይዛለች። ሎሚና ጎመን።

በማግስቱ ኒዩጋቲ ከሚባለው ጣቢያ ወደ ሴገድ ተሳፈርኩ። ጣቢያውን በ1877 ያስረከበው የጉስታቭ ኤፌል ኩባንያ ነው፤ ያው የፓሪሱ የብረት ማማ ሰውዬ። ጉዞው ሁለት ሰዓት ተኩል ገደማ ይፈጃል። ሜዳ ነው። ሜዳ ስል የእውነት ሜዳ ነው፤ ጉብታ እንኳ ብትፈልግ አታገኝም። በቆሎ፣ ሱፍ፣ እንደገና በቆሎ።

ታፔላዎቹን ማስተዋል የጀመርኩት እዚህ መንገድ ላይ ነው። በየጣቢያው፣ በየትምህርት ቤቱ፣ በየታደሰው ግንብ ላይ ሰማያዊ ታፔላ ተሰቅሏል። ጥግ ላይ ባለ አሥራ ሁለት ኮከቡ የአውሮፓ ኅብረት ባንዲራ አለ። ከሥሩ የፕሮጀክቱ ስም፣ ገንዘቡ ስንት እንደሆነ፣ ብዙዎቹ ላይም "ሴቼኒ 2020" የሚል ጽሑፍ። የኅብረቱን የልማት ገንዘብ የወሰደ ሁሉ ይህን የመለጠፍ ግዴታ አለበት። እኔ ደግሞ ስንት ብር ለምን እንደዋለ ማወቅ እወዳለሁ። ፎቶ ማንሳት ጀመርኩ። ልጁ ሴገድ ጣቢያ ሲቀበለኝ እሱን ከመሳሜ በፊት ከጀርባው ያለችውን ታፔላ አነሳሁ። "ጋሼ፣ ኦዲተር ሆንክ እንዴ?" አለኝ።

ሴገድ ውብ ከተማ ናት። ውበቷ ግን ከመከራ የመጣ ነው። በማርች 1879 ቲሳ ወንዝ ሞልቶ ግድቡን ሰበረና ሌሊት ከተማው ውስጥ ገባ። ከ5,723 ቤት የተረፈው 265 ነው። ከዚያ ከተማዋን እንደ አዲስ ቀየሷት፤ መሬቱን በአፈር ከፍ አደረጉት፣ ጎዳናዎቹን እንደ ሸረሪት ድር ዙሪያና ቀጥታ አድርገው ዘረጉት። ዙሪያውን የሚሄደው ቀለበት መንገድ በየክፍሉ ስም አለው፦ የሮም፣ የብራሰልስ፣ የፓሪስ፣ የለንደን፣ የሞስኮ፣ የበርሊን፣ የቪየና። ዕርዳታ በላኩላቸው ከተሞች ስም ነው የሰየሙት። የእኔ ቪየና ጋ ስንደርስ ኩራት ቢጤ ተሰማኝ። ለምን እንደሆነ እንጃ፤ እኔ አልላክሁ!

ትልቁ ቤተ ክርስቲያንም የዚያ ጎርፍ ስለት ነው። ተስለው ሠላሳ ዓመት አለፈ፤ ግንባታው የተጀመረው በ1913፣ ያለቀው በ1930 ነው። ሁለቱ ማማዎች 91 ሜትር ይረዝማሉ። ፊት ለፊቱ ያለው አደባባይ በቀይ ጡብ ተከቧል። ስፋቱ 12,000 ካሬ ሜትር፤ ከቬኒሱ ቅዱስ ማርቆስ አደባባይ እኩል ነው እያሉ ይኮሩበታል። ትንሽ ሄድ ስትል ደግሞ የአይሁድ ምኩራቡን ታገኛለህ። በ1903 የተመረቀ ነው። አንገቴን ቀልሼ ጉልላቱን ሳይ ብዙ ቆየሁ። ሰማያዊ መስታወት፣ ወደ ላይ እየደመቀ የሚሄድ፣ ሌሊት ሜዳ ላይ ተጋድመህ ሰማይ እንደምታየው።

ምሳ የዓሣ ሾርባ በላን። መልኩን ሳይ "በርበሬ!" ብዬ ተስገብግቤ ነበር። ቀይ ነው፣ ድስቱ ጠርዝ ላይ ዘይቱ ይንሳፈፋል፣ ቁርጥ የእናቴ ወጥ። ቀመስኩት። አያቃጥልም! የአክስቴ ልጅ ሳቀብኝ። የሴገድ ፓፕሪካ ስሙ የገነነው በጣፋጩ ነው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን እዚሁ ከተማ የውስጡን ጅማትና ፍሬ አውጥተው የሚፈጩበትን ዘዴ አገኙ፤ የሚያቃጥለው ቀረ። በዚሁ በርበሬ የተነሳ ኖቤል የተሸለመ ሰውም አላቸው። አልበርት ሴንት ዶርዲ ይባላል። ቫይታሚን ሲን በብዛት ያወጣው ከሴገድ ቀይ በርበሬ ነው። ራሱ እንደሚያወራው፣ ማታ ሚስቱ ያቀረበችለትን በርበሬ መብላት ስላልፈለገ ቤተ ሙከራ ወሰደው። ሽልማቱ በ1937 መጣ።

የመጣሁበት ዋና ጉዳይ ግን (ከአክስቴ ትእዛዝ ቀጥሎ) ከሴገድ ወደ ጎረቤት ከተማ የሚሄደው ትራም-ባቡር ነበር። የአክስቴ ልጅ በስልክ ሲያወራልኝ አልገባኝም። "ትራም ነው ወይስ ባቡር?" እለዋለሁ። "ሁለቱም" ይለኛል።

ሁለቱም ነው። ሴገድ ውስጥ በከተማው የትራም ሐዲድ ላይ፣ ከመኪናና ከብስክሌት ጋር እየተጋፋ ይሄዳል። ሮኩስ የሚባል ጣቢያ ሲደርስ ዋናው የባቡር መስመር ላይ ይወጣል። እዚያ መስመር ላይ የኤሌክትሪክ ሽቦ የለም። ስለዚህ ከጣሪያው ላይ ያለውን ክንድ አጥፎ በናፍጣ ሞተር ይቀጥላል። ቅጽበቱን ስጠብቅ ነበር። መጀመሪያ ጸጥ አለ። "መብራት ጠፋ እንዴ?" አልኩ፣ ልማድ ሆኖብኝ። ከዚያ እግራችን ሥር ሞተር አጉረመረመ፣ ወንበሩ ትንሽ ተንቀጠቀጠ፣ ሄድን። እንደ ባቡር በሰዓት እስከ 100 ኪሎ ሜትር ይበራል። ሽንት ቤትም አለው፤ ትራም ላይ ሽንት ቤት ሳይ የመጀመሪያዬ ነው። ተሽከርካሪዎቹን የሠራው ስታድለር ነው፣ ስፔን ቫሌንሲያ ካለው ፋብሪካው። አሥራ ሁለት ናቸው። አገልግሎቱ የተጀመረው በኖቬምበር 2021 ሲሆን ለሃንጋሪ የመጀመሪያው ነው። አብዛኛው ገንዘብ ከኅብረቱ ነው። ታፔላዋን አነሳኋት፤ ልጁ አጠገቧ ቆሞ ነበር።

መንገዱ ወደ ሰሜን ይዞርና አልዶ የምትባል መንደር ጋ ቲሳን ይሻገራል። "ለምን ከሴገድ ቀጥ ብሎ አይሻገርም?" ብዬ ጠየቅሁ። ድልድይ ነበር፤ በ1944፣ በጦርነቱ ፈረሰ። እስከ ዛሬ አልተተካም። ሴገድ ዋናው ጣቢያ የሐዲድ መጨረሻ ሆኖ የቀረው ለዚህ ነው።

የምንሄድባት ከተማ ስም ሆድሜዞቫሻርሄይ ነው። በአንድ ትንፋሽ ማለት ሁለት ቀን ፈጅቶብኛል። በእኛ "ሆድ" ብሎ የሚጀምር ስም ስትሰማ ምግብ ይመስልሃል። በእነሱ ቋንቋ ግን ሆድ ውኃ ውስጥ የሚኖረው ቢቨር የሚሉት እንስሳ ነው፤ ቫሻርሄይ ደግሞ የገበያ ቦታ። የአገሩ ሰው ራሱ ስሙ ይረዝምበታል መሰለኝ "ቫሻርሄይ" ብሎ ያሳጥረዋል። እኔም ተገላገልኩ።

ቫሻርሄይ ከተማው ዳር ስንደርስ "አሁን እንወርዳለን" ብዬ ቦርሳዬን አነሳሁ። የአክስቴ ልጅ እጄን ያዘኝ። ባቡራችን እንደገና ትራም ሆኖ መንገድ ዳር ካሉት ቤቶች መሃል ገባ። ይቺ ከተማ ሐዲድ በመሃሏ እንዲያልፍ አዲስ የተዘረጋላት ለዚህ ነው። የወረድነው ኮሹት አደባባይ ነው። ማዘጋጃ ቤቱ እዚያ፣ "ጥቁር ንስር" የሚባለው የድሮ ሆቴል እዚያ፣ አሮጌው የፕሮቴስታንት ቤተ ክርስቲያን እዚያ። ከፉርጎው ደረጃ ወርጄ ምናልባት መቶ እርምጃ ብሄድ ነው።

እንግዲህ ለእኔ ነገሩ ያለው እዚህ ጋ ነው። ከፕሮጀክቱ ትልቁ ክፍል የነበረውን መጠቀም ነው፦ የነበረ የትራም መስመር፣ የነበረ የባቡር መስመር። አዲሱ የቫሻርሄይ ቁራጭ ሐዲድና ሁለቱ የሚገናኙባት መጋጠሚያ ናት። ለዚህም ቢሆን ውድ ነው፣ ዘገየም ተብሎ ብዙ አነጋግሯል። አልፈርድም። እኔ ግን አዲስ አበባን እያሰብኩ ነበር። የጅቡቲው አዲስ ባቡር የሚነሳው ከከተማው ዳር፣ ከለቡ ነው። በ2015 የተከፈተው የከተማው ቀላል ባቡር ከእሱ ጋር አይገናኝም። ለገሃር ያለው አሮጌው ጣቢያ ደግሞ፣ መሃል ከተማ፣ ባቡር የማይደርስበት ጣቢያ ሆኖ ተቀምጧል። ሻንጣ ይዞ ለቡ የሄደ ሰው የምለው ይገባዋል።

ቫሻርሄይ የሸክላ ሠሪዎች ከተማ ናት። ቹች፣ ታባን፣ ኡይቫሮሽ የሚባሉ የሸክላ ሠሪ ሰፈሮች ነበሯት፤ እያንዳንዱ የራሱ አሠራር አለው። ቹች ውስጥ የአንድ ሸክላ ሠሪ ቤት እንደነበረ ተጠብቆ ይጎበኛል። ያን ሙያ ዘመናዊው ፋብሪካም ወርሶታል። በ1965 የተቋቋመው አልፎልዲ የሚባለው ፋብሪካ የሚታወቀው በምን መሰላችሁ? በሽንት ቤት መቀመጫ! ቡዳፔስት ያደርኩበት ቤት ስሙን አይቼው ነበር፤ እዚህ ስደርስ ዘመድ ያገኘሁ መሰለኝ።

ወደ ከተማው ዳር ስንሄድ ከ1879ኙ ጥፋት በኋላ የተሠራውን የጎርፍ መከላከያ ግንብ አየን። ከሦስት ኪሎ ሜትር በላይ ይረዝማል። ወንዙ ዛሬ ሩቅ ነው። አንዲት እናት ውሻቸውን ይዘው ጥላው ሥር ይሄዳሉ። በልምምጄ መሠረት "ዮ ናፖት" (እንደምን ዋሉ) አልኳቸው። ብዙ መለሱልኝ። አንድም አልገባኝም። ልጁ ሊያስተረጉም ሞከረ፤ "ከየት ነው የመጣችሁት ይላሉ" አለኝ። ኢትዮጵያ ስንላቸው "አበበ ቢቂላ!" አሉ። ውሻው ሳይቀር የቆመልን መሰለኝ።

በሦስተኛው ቀን ኦፑስታሰር ወደሚባለው የታሪክ መናፈሻ በአውቶቡስ ልንሄድ ተነሳን። ጥፋቱ የእኔ ነው፤ ታፔላ ላንሳ ብዬ መንገዱን ተሻገርኩ፣ አውቶቡሱ በወዲያኛው በኩል መጥቶ ሄደ። ቀጣዩን ለመጠበቅ ከአንድ ሰዓት በላይ ተቀመጥን። ልጁ አልተናገረም። አለመናገሩ ባሰኝ።

ስንደርስ ግን ደስ አለኝ። ክብ አዳራሽ ውስጥ 15 ሜትር ከፍታና 120 ሜትር ዙሪያ ያለው አንድ ሥዕል አለ። አርፓድ ፈስቲ ከረዳቶቹ ጋር ሥሎ በ1894 ያሳየው ነው፤ ማጃሮች (የዛሬዎቹ ሃንጋሪዎች አያቶች) በፈረስ ወደዚህ ሜዳ ሲገቡ ያሳያል። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ተጎድቶ፣ ተቆራርጦና ተጠቅልሎ ብዙ ዘመን ኖረ። የፖላንድ ባለሙያዎች ጠግነውት በ1995 እዚህ ተከፈተ። ከሥዕሉ ፊት ለፊት እውነተኛ አፈርና ሣር አድርገውበታል፤ የት ጋ አፈሩ አልቆ ሸራው እንደሚጀምር ለመለየት ዓይንህን ታሻለህ። ልጁ ሦስት ዓመት ሴገድ ኖሮ አይቶት አያውቅም። "ለምን?" አልኩት። "አውቶቡሱን ታያለህ አይደል ጋሼ" አለኝ። ቫሻርሄይ ግን በየሳምንቱ ይሄዳል። አይስክሬም ለመብላት ብቻ።

ማታ አክስቴ ደወለች። "ፎቶውስ?" ስልኬን ከፈትኩ። ሰማያዊ ታፔላ። ሰማያዊ ታፔላ። ጉልላት። ሰማያዊ ታፔላ። ሐዲድ። የሽንት ቤት መቀመጫ። በመጨረሻ ሮኩስ ላይ ያነሳሁትን አገኘሁና ላክሁላት። ትንሽ ዝም አለች።

"ጎሽ፣ ታፔላው ጥሩ ነው" አለች። "ይሄ በጎን የሚታየው ክርን የማን ነው?"