ፎርማሊን ውስጥ የሰጠመው «ስብ»

ስብ ይንሳፈፋል። ከታማሚ የወጣ ሥጋ በሚመረመርበት ፓቶሎጂ ላብራቶሪ ውስጥ የሠራ ሰው ይህን ለማወቅ መጽሐፍ አያስፈልገውም። ከቆዳ ሥር የወጣ የስብ እጢ፣ ማለትም ሊፖማ፣ ናሙና እንዳይበሰብስ የሚነከርበት ፈሳሽ፣ ፎርማሊን፣ ውስጥ ሲገባ ላይ ላዩን ይቀራል። ከቀዶ ሕክምና የመጣልኝ ዕቃ ላይ «ሊፖማ፣ ሆድ» ተብሎ ተጽፏል። እጢው ግን ታች ወርዶ ቁጭ ብሏል።

የመጠየቂያ ወረቀቱን አገላበጥኩት። ወንድ፣ ዕድሜው ስድሳ ያለፈ። የሕመም ታሪክ በሚለው ቦታ ላይ አንዲት ሰረዝ ተሰምራለች። በዚህች ሰረዝ ከሐኪሞች ጋር ያልተጨቃጨቅንበት ጊዜ የለም። ታሪክ የለውም ለማለት ነው? ወይስ ጊዜ የለኝም ለማለት? ለማንኛውም እጢውን ቆረጥኩት። ስቡ ዳር ዳሩን ብቻ ነው። መሃሉ ጠጣር፣ ግራጫማ፣ ለቢላ የሚያስቸግር ነገር ነው።

ስላይዱ ሲደርስ ዶክተሯ ማይክሮስኮፕ ላይ አስቀምጣ ደጋግማ አየችው። በተለመደው ቀለም የሚታየው ወጥ የሆነ ሮዝ ነገር ነው። ሴል የለበትም ማለት ይቻላል።

«ጠባሳ እንዳልለው የጠባሳ መልክ የለውም» አለችኝ። «እስቲ ኮንጎ ሬድ ሥራልኝ። ወፈር አድርገህ ቁረጠው።»

ወፈር አድርገህ ያለችው በምክንያት ነው። አዘውትረን የምንቆርጠው ከ3 እስከ 5 ማይክሮን (የሚሊሜትር ሺኛ) ነው። ኮንጎ ሬድ የሚባለው ቀለም ግን ከ8 እስከ 10 ማይክሮን ይፈልጋል። ከዚያ ከሳሳ መታየት ያለበት ቀለም ደብዝዞ ሊያመልጥ ይችላል። ኮንጎ ሬድ መጀመሪያ የተሠራው በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ለጨርቅ ማቅለሚያ ነው። አሚሎይድ ላይ፣ ማለትም ቅርጹ ተበላሽቶ ክር ሆኖ የተከማቸ ፕሮቲን ላይ፣ ሲያርፍ ብርቱካናማ ቀይ ይሆናል። ዋናው ማረጋገጫ ግን በፖላራይዝድ ብርሃን፣ ማለትም በአንድ አቅጣጫ ብቻ እንዲርገበገብ በተጣራ ብርሃን፣ ሲታይ የሚወጣው አረንጓዴ ነው።

የእኛ ማይክሮስኮፕ ብርሃኑን እንዲህ የሚያጣራው ፖላራይዘሩ ከጠፋ ቆይቷል። ማን እንደወሰደው አይታወቅም፤ የጋራ ዕቃ መቼም ጠያቂ የለውም። ከተበላሸ ካልኩሌተር ስክሪን ላይ የተላጠ ፊልም ግን ያንኑ ሥራ ይሠራል። አንዱን ቁራጭ መብራቱ ላይ፣ ሌላውን ከስላይዱ በላይ ታደርጋለህ። ከዚያ እይታው እስኪጨልም አንዱን እያዞርክ መጠበቅ ነው። ጨለመ። ቀይ የነበረው ቦታ አረንጓዴ ሆኖ በራ። ባልደረቦቻችንን ጠርተን አሳየናቸው፤ በየቀኑ የሚገኝ ነገር አይደለማ።

ነገሩ ምን እንደሆነ ልንገራችሁ። ፕሮቲን የአሚኖ አሲዶች ሰንሰለት ነው። ሰንሰለቱ ሥራ የሚሠራው ተጣጥፎ የራሱን ቅርጽ ሲይዝ ነው። ሲታጠፍ ውሃ የማይወዱት ክፍሎቹ ወደ ውስጥ ይሸሸጋሉ። ሙቀት፣ አሲድ፣ መናወጥ ወይም በዘር የሚወረስ ለውጥ እጥፋቱን ካላላው እነዚያ ክፍሎች ይጋለጣሉ። የተጋለጠው ሞለኪውል ይዘረጋና ከጎረቤቱ ጋር ይጣበቃል። መሶብ ውስጥ እንደተነባበረ እንጀራ አንዱ በአንዱ ላይ እየተደረበ ረጅም ክር ይሠራል። በሁለቱ ድርብርብ መካከል ያለው ርቀት ግማሽ ናኖሜትር እንኳ አይሞላም። የክሩ ውፍረት ደግሞ 10 ናኖሜትር ገደማ ነው። አስቸጋሪው ጅማሬው ነው፤ የመጀመሪያዎቹ ጥቂት ሞለኪውሎች እስኪገጣጠሙ ጊዜ ይወስዳል። አንዴ ከተጀመረ ግን የክሩ ጫፍ ለሚቀጥለው ሞለኪውል ቅርጽ ሰጪ ይሆናል። ያኔ ነገሩ ይፈጥናል። ሰውነትም ይህን ክር አፍርሶ ለማስወገድ በጣም ይቸገራል።

ሰው አሚሎይድ ሲባል የሚያስበው አልዛይመርን ነው። እውነት ነው፣ እዚያም አለ። ግን እንዲህ ያለ ክር እንደሚሠሩ የታወቁት የሰው ፕሮቲኖች ከ30 በላይ ናቸው። ኮንጎ ሬድ ሁሉንም አረንጓዴ አድርጎ ያሳይሃል፤ የትኛው እንደሆነ ግን አይነግርህም። የእኛ ጣጣ የጀመረው እዚህ ላይ ነው።

የሆድ ስብ ላይ የተገኘ አሚሎይድ ሐኪምን ያስደነግጣል። መላ ሰውነትን የሚይዘው አሚሎይዶሲስ ሲጠረጠር ናሙና ከሚወሰድባቸው ቦታዎች አንዱ የሆድ ስብ ነውና። አንደኛው አደገኛ ዓይነት የሚነሳው ከመቅኔ ነው። እዚያ ያሉ ሴሎች የሚያመርቱት የፀረ እንግዳ አካል ቁራጭ ልብና ኩላሊት ውስጥ ይከማቻል። ለዚህ የሚሰጠው ኬሞቴራፒ ነው። ዶክተሯ ሪፖርቱን «የመቅኔ ምርመራ ይደረግ» ወደሚል እየወሰደችው ነበር። መሃል ላይ ብዕሯን አስቀመጠች።

«ይሄ ሁሉ አንድ ቦታ ላይ ብቻ? ደውልና ታሪኩን አምጣልኝ።»

ቀዶ ሕክምና ዋርድ ደወልኩ። ያነሳችው የማውቃት ሲስተር ናት።

«ሲስተር፣ ሆዳቸው ላይ እጢ የወጣላቸው ሰውዬ ሌላ በሽታ ነበረባቸው?»

«ጋሼን ነው? ስኳር አለባቸው እንጂ! ደግሞ እኮ ተመልሰው መጥተው ነበር።»

«ቁስሉ አመረቀዘ እንዴ?»

«ኧረ ቁስሉስ ደህና ነው። ስኳራቸው ወርዶ ራሳቸውን ስተው ድንገተኛ ክፍል ገቡ። ስኳሬ አልወርድ አለ እያሉ ስንት ዓመት የተሰቃዩ ሰውዬ!»

ስልኩን ሳልዘጋ ለዶክተሯ ነገርኳት። «ኢንሱሊኑን የት ነበር የሚወጉት በላት» አለችኝ። ሲስተር አታውቅም። ካርዱም ላይ የለም።

ጋሼ ቁስላቸውን ሊያሳዩ ሲመጡ ራሳቸውን ጠየቅናቸው። ሸሚዛቸውን ገለጥ አድርገው ከእምብርታቸው በስተቀኝ ፕላስተር የተለጠፈበትን ቦታ አሳዩን።

«እዚችው ነበረች። እዚህ ስወጋ አያመኝም ልጄ። ሌላው ቦታ ይቆጠቁጠኛል።»

ከቀዶ ጥገናው በኋላ ቁስሉን እንዳይነኩ ሲነገራቸው ጭናቸው ላይ መውጋት ጀመሩ። መጠኑን የቀነሰላቸው ግን አልነበረም።

ኢንሱሊን ራሱ ፕሮቲን ነው። 51 አሚኖ አሲዶች አሉት፣ በሁለት ሰንሰለት። ብልቃጥ ውስጥ አብዛኛው ስድስት ስድስት ሆኖ በዚንክ ተያይዞ ይቀመጣል፤ ያኔ የተረጋጋ ነው። ቆዳ ሥር ሲገባ ይነጣጠላል። ወደ ደም የሚገባው የተነጣጠለው ነው፤ በቀላሉ የሚላላውም እሱው ነው። ኢንሱሊን አሲድ ውስጥ ሲሞቅ ወደ ክርነት እንደሚለወጥ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1940ዎቹ ነው ያሳዩት። ሰው ላይ፣ በመወጊያ ቦታ የተጠራቀመ የኢንሱሊን አሚሎይድ ደግሞ ከ1980ዎቹ ጀምሮ በሕክምና መጽሔቶች ተዘግቧል። አንድ ቦታ ላይ በየቀኑ ሲወጋ አሮጌው ክር ለአዲሱ መነሻ ይሆናል። እጢው ያድጋል።

የከፋው ነገር እጢው መድኃኒቱን ይዞ ማስቀረቱ ነው። በጃፓን የተደረገ ጥናት እጢው ላይ ከተወጋው ኢንሱሊን ወደ ደም የሚገባው፣ ደህና ቦታ ላይ ሲወጋ ከሚገባው ሲሶ ገደማ እንደሆነ አሳይቷል። አሁን የጋሼን ነገር አስቡት። ስኳራቸው አልወርድ ሲል መጠኑ ይጨመራል። የተጨመረውም እጢው ላይ ይወጋል። በየክትትሉ «ምግብ አይጠነቀቁም» ተብለው ተቆጥተዋል። ቤትም ሚስታቸው ተደብቀው ሻይ በስኳር ይጠጣሉ ብለው ጠርጥረዋቸዋል። ከዚያ እጢው በቀዶ ሕክምና ወጣ፤ ያ ሁሉ የተቆለለ ዩኒት ጤነኛ ጭን ላይ ተወጋና በሙሉ ደም ውስጥ ገባ። የእንግሊዝ የመድኃኒት ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት እ.ኤ.አ. በ2020 ይህንኑ አስጠንቅቆ ነበር፦ ከእጢ ወደ ጤነኛ ቦታ ሲዛወሩ ስኳር በድንገት ሊወርድ ይችላል።

ቀዶ ሐኪሙን አልወቅስም። ሆድ ላይ ከቆዳ ሥር ያለ እጢ ሲያይ ማንም መጀመሪያ የሚያስበው ሊፖማ ነው። «ስኳር አለባቸው፣ እዚህ ቦታ ይወጋሉ» የሚሉ ጥቂት ቃላት ቢጻፉ ግን ዶክተሯ መቅኔ ጋ ባልደረሰች፤ ምናልባት ጋሼም ባልወደቁ ነበር።

የፕሮቲኑን ዓይነት ለይቶ የሚናገር ምርመራ እኛ ጋ የለም። ስለዚህ ዶክተሯ «አሚሎይድ፣ በኢንሱሊን መወጊያ ቦታ ላይ፤ ከኢንሱሊን የመጣ መሆኑን ታሪኩ ይደግፋል» ብላ ጻፈች። ወረቀት መንገድ ላይ ይቀራል ብላ ክትትል ክፍል ራሷ ወርዳ ተናገረች። የጋሼ መጠን በእጅጉ ተቀነሰ። ለጊዜው ስኳራቸውን ቶሎ ቶሎ እንዲለኩ ተደረገ። ለጥንቃቄ ልባቸውና ኩላሊታቸው ታይቶ የሚያሳስብ ነገር አልተገኘም።

ክትትል ክፍል ያሉት ሲስተሮች አሁን መጠን ከመጨመሩ በፊት መወጊያውን ቦታ ይዳስሳሉ። የሚያገኙት አብዛኛው ለስላሳ የስብ እብጠት ነው። እሱም ከተደጋጋሚ መርፌ ይመጣል፤ እሱም መድኃኒት ያጓትታል። ግን ቦታው ሲያርፍ ቀስ በቀስ ይጎድላል። ጠጣር ሆኖ፣ መርፌ ቢቀርለትም የማይጎድል ሲሆን ነው እኛን የሚያስታውሱን። የታማሚዎቹ ሙግት ግን አንድ ዓይነት ነው፤ «እዚህ አያመኝም» ይላሉ። ልክ ናቸው፣ እጢው ላይ ሕመሙ ይቀንሳል። ችግሩም ያ ነው።

ለጋሼ ነገሩን ያስረዳቻቸው ዶክተሯ ናት። በጥሞና ሰሟት።

«ማለት ያ እጢ የወጋሁት ኢንሱሊን ነው?»

«አዎ ጋሼ፣ ዋናው እሱ ነው።»

«በገንዘቤ የገዛሁት?»

«በገንዘብዎ የገዙት።»

«ታዲያ ለምን አልመለሳችሁልኝም!»

ዶክተሯ ሳቀች። አንዴ ቅርጹ ከተበላሸ ስኳር እንደማያወርድ ነገረቻቸው። ጋሼ ግን በጣታቸው የብልቃጥ ሒሳብ ጀምረው ነበር።