ድንጋዩን ያነጠፉት ሰዎች

ፔሩ ውስጥ ተራራ ላይ ወዳለችው ጥንታዊ ከተማ፣ ማቹ ፒቹ፣ ለመሄድ ባቡር አለ። ኦያንታይታምቦ ከምትባል ከተማ ተሳፍረሽ ሁለት ሰዓት ገደማ ነው፣ ከዛ ከተራራው ስር አውቶቡስ ይዘሽ ጠመዝማዛውን ወጥተሽ በሩ ላይ መውረድ ነው። ስለዚህ አራት ቀን በእግር ምን አስኬደሽ ብሎ ያልጠየቀኝ ሰው የለም፣ እናቴማ "ሰውነትሽ ምን በደለሽ?" ነው ያለችኝ። መልሴ ያው አንድ ነው፣ እኔ ማየት የፈለግኩት መንገዱን ነው። ማቹ ፒቹን የሰሩት ኢንካዎች፣ የጥንት የደቡብ አሜሪካ ሰዎች፣ ከዛሬዋ ኮሎምቢያ ጀምሮ እስከ ቺሊና አርጀንቲና ድረስ የዘረጉት ቃፓቅ ኛን የሚባል የመንገድ መረብ አለ፣ ከ30,000 ኪሎ ሜትር በላይ፣ ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2014 የስድስት አገሮች የጋራ ቅርስ ብሎ መዝግቦታል፣ እኛ የሄድንበት 40 ምናምን ኪሎ ሜትር የዛ ቅንጣቢ ነው። ጋሪ የለ፣ ፈረስ የለ፣ ብረት የለ። እቃው በሰው ጀርባና ላማ በሚባል የጭነት እንስሳ ነው የሚሄደው፣ መልእክቱ ደግሞ ቻስኪ በሚባሉ ሯጮች ከአንዱ ወደ አንዱ እየተቀባበለ ነው የሚደርሰው። ይሄን በባቡር መስኮት አላየውም ብዬ ነው።

መጀመሪያ ኩስኮ ነው የሚታረፈው፣ ሳንባ እስኪለምድ። ከተማዋ 3,400 ሜትር ላይ ናት። አዲስ አበባ ተወልጄ ባድግም ሜሪላንድ ብዙ ስለኖርኩ ሰውነቴ ከፍታን ረስቶታል፣ የመጀመሪያው ማታ ጭንቅላቴን ወጥሮ ይዞኝ አደረ፣ ሆቴሉ ውስጥ የኮካ ቅጠል በሙቅ ውሃ ዘፍዝፈው ይሰጡሻል እሱን ስጠጣ ነው ትንሽ ቀለል ያለኝ። ጋይዳችን ኢትዮጵያዊ መሆኔን ሲሰማ በጣም ደስ አለው፣ ያው ሩጫውን ያውቃል፣ እኔ ደግሞ ስለ ደማችን ነገርኩት። እ.ኤ.አ. በ2002 የታተመ ጥናት አለ፣ 3,500 ሜትር ላይ የሚኖሩ የኛ ደገኞች ሂሞግሎቢናቸውም (ኦክስጅን የሚሸከመው የደም ክፍል) በደማቸው ያለው ኦክስጅንም ባሕር ዳርቻ ከሚኖር ሰው ብዙም እንደማይለይ ያሳየ፣ የአንዲስ ሰዎች፣ የነዚህ የደቡብ አሜሪካ ተራሮች ነዋሪዎች፣ ግን ሂሞግሎቢናቸው ከፍ ያለ ነው፣ የቲቤቶቹ ደግሞ ሌላ። ማለት ሁሉም በተራራ ላይ ብዙ ሺህ ዓመት ኖሮ ሁሉም በየራሱ መንገድ ነው የተላመደው። ጋይዱ ዝም ብሎ ሰምቶኝ "እና ያንቺ አያቶችም የተራራ ሰዎች ናቸዋ" አለኝ፣ ከዛን ቀን ጀምሮ ስለ አገሩ ሲያስረዳ ወደኔ እያየ ነበር የሚናገረው።

ከኩስኮ ወደ መነሻው ስትሄጂ ኦያንታይታምቦን ታልፊያለሽ። እዛ ከላይ ያልተጠናቀቀ ቤተ መቅደስ አለ፣ ስድስት ትላልቅ ሮዝ መሰል ድንጋዮች ጎን ለጎን የቆሙበት፣ በመሃላቸው ቀጫጭን ድንጋይ የተሰካበት። ድንጋዩ የመጣው ከወንዙ ማዶ ካለ ተራራ ነው፣ ካቺቃታ ይባላል፣ ከላይ ቆመሽ በዓይንሽ ታይዋለሽ። ከዛ አውርደውት የኡሩባምባን ወንዝ አሻግረውት ከዚህ ወዲህ ደግሞ አቀበቱን ጎትተውታል። የኔን ልብ የያዘው ግን የቆመው ሳይሆን በመንገድ የቀረው ነው፣ ከድንጋይ ካባው እስከ ቤተ መቅደሱ ባለው መንገድ ላይ ተጠርበው ሳይደርሱ የቀሩ ድንጋዮች እስካሁን ተጋድመው አሉ። ሰዎቹ የሆነ ቀን አቁመው ሄደዋል። አንዱ አጠገብ ቁጭ ብዬ እጄን አሳረፍኩበት፣ ጎኑ በስርዓት ተስተካክሏል፣ ልክ ነገ መጥተው የሚቀጥሉት ይመስላል።

መነሻው ኪሎ ሜትር 82 ነው የሚባለው፣ የባቡር ሃዲዱ ላይ ካለው ቁጥር የመጣ ነው። ኬላው ላይ ፓስፖርትሽ ከፈቃዱ ጋር ይመሳከራል፣ ያለ ጋይድ ብቻሽን መግባት አይቻልም፣ በቀን የሚገባው ሰው ከነጋይዱ ከነተሸካሚው 500 ብቻ ነው። ከዛ ተሸካሚዎቹ ሸክማቸውን ሚዛን ላይ ያወጣሉ። እ.ኤ.አ. በ2001 በወጣ ሕግ አንድ ተሸካሚ ከ20 ኪሎ በላይ መሸከም የለበትም፣ ከዛ በፊት ያለ ምንም ገደብ ነበር የሚጫንባቸው። እነዚህ ሰዎች ኬቹዋ ተናጋሪ ገበሬዎች ናቸው፣ ድንች ከተሰበሰበ በኋላ ነው አብዛኞቹ ለስራ የሚወርዱት። ድንኳኑን፣ ጋዙን፣ ድስቱን፣ ወንበሩን፣ ምግቡን፣ የኛን ሻንጣ ሁሉ ተሸክመው ቀድመውን ይሄዳሉ፣ እኛ ስንደርስ ድንኳኑ ተተክሎ ሾርባው ፈልቶ ካንቻ የሚሉት የበቆሎ ቆሎ ተቆልቶ ይጠብቀናል። ጥቂቶቹ ጫማ አላቸው ጥቂቶቹ ከመኪና ጎማ የተሰራ በረባሶ ነው የሚያደርጉት፣ አዎ በረባሶ፣ እኛ አገር ያለው ራሱ። በዛ ነው ያንን ደረጃ እየሮጡ የሚወርዱት።

የመጀመሪያው ቀን ቀላል ነው አላወራውም። ሁለተኛው ቀን ዋርሚዋኙስቃ ነው፣ 4,215 ሜትር፣ የመንገዱ ከፍተኛ ቦታ። ጠዋት ጫካ ውስጥ ትጀምሪያለሽ ከዛ ዛፉ ያልቅና ሳር ብቻ ይሆናል፣ ነፋሱ ይመጣል፣ ደረጃው ደግሞ አንዱ የቁርጭምጭሚት ያህል አንዱ እስከ ጉልበት ስለሆነ በአንድ አካሄድ መሄድ የሚባል ነገር የለም፣ ሃያ እርምጃ ሄዶ መቆም ሃያ እርምጃ ሄዶ መቆም ብቻ ነው። ጫፉ ላይ ጋይዱ ሶስት የኮካ ቅጠል በጣቶቹ መሃል ይዞ ወደ ተራሮቹ እፍ አለበት፣ አፑ ለሚሏቸው የተራራ መናፍስት ነው፣ ተራራ ለነሱ የሚሰማ የሚጠብቅ ነገር ነው። ከዛ ለኔም ሶስት ሰጠኝ። እኔ የራሴ እምነት አለኝ፣ ግን ሰው በአባቱ ስርዓት እንዲህ ተረጋግቶ ቆሞ ሳይ ከልቤ ነው የማከብረው፣ ቅጠሉን ይዤ በልቤ አባታችን ሆይ አልኩ።

አሁን ስለ ውሃው ልናገር። ጠዋት ጠዋት ተሸካሚዎቹ ድንኳንሽ በር ላይ ሻይና ትንሽ ሳህን ሙቅ ውሃ ያመጣሉ ፊትሽን እንድትታጠቢ። ለኔ ያመጡልኝ የነበሩት ሰውዬ አባቴን ያክላሉ፣ ፊታቸው በፀሐይ የተጠበሰ፣ ጆሮ የሚሸፍን የሱፍ ቆብ ያደረጉ፣ ጎንበስ ብለው ሳህኑን አስቀምጠው ዓይናቸውን ሳያነሱ ይሄዳሉ። ሌሎቹ ፈረንጆች አመስግነው ይታጠባሉ፣ እኔ ግን አልችልም፣ እኛ ቤት ውሃ ይዞ የሚያስታጥበው ልጅ ነው፣ ታላቅ ሰው ጎንበስ ብሎ ውሃ ሲያቀርብልኝ ሰውነቴ ራሱ እንቢ ይላል። ስራቸው ነው፣ ይከፈላቸዋል፣ አውቃለሁ፣ ገንዘቡንም ይፈልጉታል። ሶስተኛው ማታ ከራት በፊት ጋይዱን አስፈቅጄ ጆጉን እኔ ያዝኩትና ጎንበስ ብዬ አስታጠብኳቸው፣ መጀመሪያ እጃቸውን ሰበሰቡ፣ ጋይዱ በኬቹዋ የሆነ ነገር አላቸው፣ ከዛ ዘረጉት። መዳፋቸው የተሰነጠቀ ነው፣ የአውራ ጣታቸው ጥፍር ግማሹ የለም። ሌሎቹ ተሸካሚዎች እየሳቁ ተራ ያዙ፣ ውሃው እስኪያልቅ ሁሉንም አስታጠብኩ። በሆዴ "አባባ" ነበር የምላቸው፣ ያን ማታ በአማርኛ ጮክ ብዬ አልኳቸው፣ እሳቸውም ደገሙት።

ሶስተኛው ቀን ላይ ነው መንገዱ ራሱን የሚያሳየው፣ ብዙው ንጣፍ የጥንቱ ነው። ሩንኩራካይ የሚባለው ክብ ቅጥር፣ ከዛ ገደል አፋፍ ላይ የተንጠለጠለው ሳያክማርካ የሚባል ፍርስራሽ፣ ከዛ በተሰነጠቀ አለት ውስጥ አስፍተው ደረጃ ያወጡለት ዋሻ፣ ከዛ ፑዩፓታማርካ ከደመና በላይ። አለቱን ዝቅ ብዬ አየሁት፣ አንዳንዱ ቦታ ደረጃው ተነጥፎ ሳይሆን ከራሱ ከአለቱ ተጠርቦ የወጣ ነው፣ ውሃ እንዳይቆምበትም በጎኑ ቦይ አለው። እዚህ ቦታ ላይ ነው አንዱ የግሩፓችን ሰው "ይሄን ሰው ሰርቶታል ብሎ ማመን ይከብዳል፣ ከሌላ ፕላኔት የመጣ ነገር ሳይኖርበት አይቀርም" ያለው።

ደሜ ፈላ። ከኋላችን እኮ የሰሪዎቹ የልጅ ልጆች እቃውን ተሸክመው እየመጡ ነው! እኔ ይሄን ወሬ ስለ ላሊበላ ስሰማ ነው ያደግኩት፣ ቴምፕላር የሚባሉ ከውጭ የመጡ የመስቀል ጦረኞች ናቸው የሰሩት፣ እንትን ናቸው የሰሩት፣ ብቻ ሐበሻ ካልሆነ ማንም ይሁን። የኛ አባቶች መላእክት ረድተዋል ይላሉ፣ እሱ ሌላ ነገር ነው፣ እሱ ሰው ቀን ሰርቶ ማታ መላእክት ቀጠሉለት የሚል እምነት ነው፣ ጠራቢውን አያጠፋውም። ይሄኛው ግን ጠራቢውን ነው የሚሰርዘው። ለሰውዬው በትህትና ነው የመለስኩለት፣ ጋይዱም ገብቶ አስረዳ። በኢንካዎች ዘመን ሚታ የሚባል ስርዓት ነበር፣ እያንዳንዱ ማኅበረሰብ በተራ ጉልበቱን ለመንግስት ይሰጣል፣ መንግስት ደግሞ ያበላል ያጠጣል። ግራናይቱን ከሱ በሚጠነክር ድንጋይ እየወቀሩ ነው የሚያለሰልሱት፣ አንዱን ከአንዱ ጋር እያመሳከሩ፣ እያነሱ እየመለሱ፣ እስኪገጥም። ማቹ ፒቹ ላይ የድንጋዩ ካባ ራሱ ከተማው ውስጥ ነው ያለው፣ የተፈለጠው ክምር ዛሬም አለ። ትዕግስት ነው እንግዲህ፣ ብዙ ሺህ ሰው፣ ብዙ ዓመት። ለምን ይሄ ለማመን እንደሚከብድ ለኔ አይገባኝም።

አራተኛው ቀን ሌሊት 9 ሰዓት ተኩል ነው የሚቀሰቅሱሽ፣ ምክንያቱም ተሸካሚዎቹ ድንኳኑን ነቅለው የሰራተኛ ባቡር ለመያዝ ወደ ታች መሮጥ አለባቸው። ኬላው የሚከፈተው 11 ሰዓት ተኩል ስለሆነ እኛ በጨለማ ተሰልፈን ቁጭ ብለን እንጠብቃለን፣ እነሱ ያን ሁሉ ተሸክመው አምጥተውን ከተማው ሁለት ሰዓት የማይሞላ የእግር መንገድ ሲቀረው በሌላ በኩል ይወርዳሉ። ብዙ ጊዜ በዚህ መንገድ ተመላልሰው ማቹ ፒቹ ውስጥ ገብተው የማያውቁ አሉ ብሎ ጋይዱ ሲነግረኝ አዘንኩ፣ አሁንም ሳስበው ያንገበግበኛል።

ኢንቲ ፑንኩ፣ የፀሐይ በር የሚሉት መግቢያ፣ ስንደርስ ጉም ነበር። ቆየን፣ ገለጥ ሲል ማቹ ፒቹ ታየች። ስለ ውበቷ ሁሉም ሰው ብሎታል፣ እኔ ስለ ውሃዋ ልበል። እዛ ዝናቡ ከባድ ነው፣ ተራራውም የሚንሸራተት ነው፣ እ.ኤ.አ. በ1450 አካባቢ በኢንካው ንጉሥ በፓቻኩቲ ዘመን የተሰራች ከተማ እስካሁን የቆመችው ከመሬት በታች በተሰራው ስራ ነው። እርከኖቹ ከስር ትልልቅ ድንጋይ፣ ከዛ ጠጠር፣ ከዛ አሸዋ፣ ከላይ አፈር ናቸው፣ ውሃው ሰርጎ ይወርዳል እንጂ ግድግዳውን አይገፋም። ከተራራው ምንጭ የተጠለፈው ቦይ ወርዶ 16 ፏፏቴዎችን በተራ ይሞላል፣ ከአንዱ ወደ አንዱ፣ ዛሬም ይፈስሳል።

ታሪኩ ላይ አሜሪካዊው አሳሽ ሃይራም ቢንግሃም እ.ኤ.አ. በ1911 "አገኛት" ይባላል። እየመራ ያወጣው ሜልቾር አርቴያጋ የሚባል የአካባቢው ገበሬ ነው፣ ላይ ሲደርስ ደግሞ በእርከኖቹ ላይ የሚያርሱ ቤተሰቦች ነበሩ፣ ከዛም በፊት እ.ኤ.አ. በ1902 አጉስቲን ሊሳራጋ የሚባል ሰው መጥቶ ስሙን ግድግዳ ላይ ጽፏል። ቢንግሃም ወደ ዬል ዩኒቨርሲቲ የወሰደው ቅርስ ወደ መቶ ዓመት ገደማ ከቆየ በኋላ እ.ኤ.አ. በ2011 እና በ2012 ተመልሷል፣ ኩስኮ ካሳ ኮንቻ የሚባል ሙዚየም ውስጥ ነው፣ ከመንገዱ በፊት ሄጄ አየሁት። ሸክላ፣ ድስት፣ የልብስ መርፌ፣ የእለት ኑሮ እቃ ነው ብዙው። የመቅደላን ዕቃ ለንደን ውስጥ በመስታወት ያየ ሰው እዛ ክፍል ውስጥ ሲገባ ምን እንደሚሰማው መናገር አያስፈልገኝም።

የምትሄዱ ካላችሁ፣ ፈቃዱ ከወራት በፊት ስለሚያልቅ ቀድማችሁ ያዙ፣ የካቲት ላይ ማለቴ የፈረንጆቹ ፌብሯሪ ለጥገና ይዘጋል። ድርጅት ስትመርጡ ዋጋውን ብቻ አትዩ፣ ለተሸካሚ ስንት እንደሚከፍሉ፣ ምን ላይ እንደሚያስተኟቸው፣ ምን እንደሚያበሏቸው ቀጥ አድርጋችሁ ጠይቁ፣ ርካሽ የሆነው ሁሉ ከሆነ ሰው ጀርባ ላይ ነው የሚቀነሰው። ቲፑን በፔሩ ገንዘብ በሶል ዝርዝር አድርጋችሁ ለእያንዳንዳቸው በእጃቸው ስጡ። ለጉልበታችሁ ዱላ ከያዛችሁ ደግሞ ጫፉ ላይ ጎማ አልብሱት፣ ብረቱ ንጣፉን ስለሚፍቀው አያስገቡትም።