ስለ ጠበቃ የጸለይነው ጸሎትና የተሰጠን መልስ

የጌታ ስም ይባረክ። ይህን ምስክርነት የምጽፈው በአሜሪካ የፌዴራል ፍርድ ቤት በወንጀል ተከስሼ፣ ጠበቃ የማቆምበት አቅም ባልነበረኝ ጊዜ እግዚአብሔር ያደረገልኝን ለመናገር ነው። በጉባኤ ፊት በአጭሩ መስክሬ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ግን ተመሳሳይ ነገር የደረሰባቸው ወገኖች እየደወሉ ዝርዝሩን ስለሚጠይቁኝ በጽሑፍ ማስቀመጡ ተገቢ ሆኖ አግኝቼዋለሁ።

ቀን ቀን የምሠራው አረጋውያንንና አካል ጉዳተኞችን በቤታቸው የሚረዱ ሠራተኞችን በሚያሰማራ አንድ ድርጅት ውስጥ ነበር። ሠራተኞቹ የሠሩበትን ሰዓት በቅጽ ሞልተው ያመጣሉ፤ እኔም ያንን ወደ ኮምፒዩተር አስገብቼ ለሜዲኬድ፣ ማለትም መንግሥት ዝቅተኛ ገቢ ላላቸው ሰዎች ለሚሰጠው የጤና መድን፣ የክፍያ ጥያቄ እልካለሁ። ማታ ደግሞ በአንድ ሆስፒታል በጽዳት ሥራ ተቀጥሬ ነበር። አንድ ቀን ማለዳ ሁለት የፌዴራል መርማሪዎች በራችንን አንኳኩ። አነጋገራቸው ትሕትና የተሞላ ነበር፤ ጥቂት ጥያቄዎች ብቻ እንዳሏቸው ነገሩኝ። ባለቤቴ ከኋላዬ ቆሞ በአማርኛ «ጠበቃ ሳላማክር አልናገርም በያቸው» አለኝ፤ እኔም እንዲሁ አልኩ። ካርዳቸውን ትተው ሄዱ።

ይህን ምክር ከየት እንዳመጣው ስጠይቀው፣ በዚያ ሳምንት በቤተሰብ ጸሎታችን ላይ ያነበብነው የዘጸአት 14 ቃል፣ «እግዚአብሔር ስለ እናንተ ይዋጋል፥ እናንተም ዝም ትላላችሁ» የሚለው፣ በልቡ እንደመጣለት ነገረኝ። የዚያ ዝምታ ዋጋ የገባኝ ቆይቶ ነው። የአሜሪካ ሕገ መንግሥት 5ኛው ማሻሻያ ማንም ሰው በራሱ ላይ እንዲመሰክር እንዳይገደድ ይደነግጋል። በሌላ በኩል ለፌዴራል መርማሪ እያወቁ ሐሰት መናገር ራሱን የቻለ ወንጀል ሲሆን እስከ 5 ዓመት እስራት ያስቀጣል፤ ደንግጦ ቀን ያፋለሰ ወይም ጥያቄው በቋንቋው ምክንያት በትክክል ያልገባው ሰው፣ ኋላ አስቦ እንዳልዋሸ ለማስረዳት ብዙ ይደክማል።

ብዙም ሳይቆይ ከዐቃቤ ሕግ ቢሮ ደብዳቤ መጣ። የግራንድ ጁሪ ምርመራ ዒላማ እንደሆንኩ ይገልጻል። ግራንድ ጁሪ ከ16 እስከ 23 ተራ ዜጎች በምስጢር ተሰብስበው የዐቃቤ ሕግን ማስረጃ የሚሰሙበት ጉባኤ ነው፤ ቢያንስ 12ቱ ከተስማሙ ክስ ይመሠረታል። በዚያ ጉባኤ ተጠርጣሪው ጠበቃ አቁሞ አይከራከርም። የተጠረጠርኩበት ጉዳይ የጤና አገልግሎት ክፍያን ማጭበርበር ሲሆን፣ ቅጣቱ በእያንዳንዱ ክስ እስከ 10 ዓመት እስራት ሊደርስ እንደሚችል ስንሰማ ቤታችን ለቅሶ ቤት ሆነ።

ጠበቃ ፍለጋው የጀመረው በዚህ ጊዜ ነው፤ ከክሱ ይልቅ እምነቴን የፈተነውም ይህ ፍለጋ ነበር። የመጀመሪያው፣ ግሪን ካርዳችንን ሲያስጨርስልን የነበረው የኢሚግሬሽን ጠበቃ፣ የፌዴራል ወንጀል ችሎት ሥራው እንዳልሆነ በቅንነት ነገረን፤ ስለ ሐቀኝነቱ ዛሬም አመሰግነዋለሁ። ሌላው በክፍለ ግዛት ፍርድ ቤት ጥሩ ስም ያለው ሲሆን፣ የፌዴራሉ ግን ሕጉም የቅጣት መመሪያውም የተለየ መሆኑን ከራሱ አፍ ሰማን። አንዲት ልምድ ያላት ጠበቃ ደግሞ ገና መዝገቡን ለመክፈት የጠየቀችው ቅድሚያ ክፍያ የእኔና የባለቤቴ የዓመት ገቢ ተደምሮ የማይሸፍነው ነበር። በመጨረሻም በሰው በሰው አንድ ጠበቃ አገናኙን፤ ክሱን እንደሚያዘጋው፣ ካልተዘጋ ገንዘባችንን እንደሚመልስልን ምሎ ተገዘተ። ተስፋ የቆረጠ ሰው እንዲህ ያለ ቃል ሲሰማ ልቡ ይሸፍታል። ባለቤቴ ለጡረታ ያስቀመጥነውን ገንዘብ ለማውጣት ቅጹን ሞልቶ ነበር።

የጸሎት ቡድናችን እናት የሆኑት እማማ ግን «ልጆቼ፣ አትቸኩሉ፤ ጌታ የሚሰጠው ጠበቃ በውሸት ተስፋ አይመጣም» ብለው ያዙን። ጾምን፤ ጸለይንም። ጸሎታችን «ክሱን ሰርዝልን» የሚል ብቻ አልነበረም፤ «እውነቱን እስኪያገኝ የሚፈልግ ጠበቃ ስጠን» ብለን ለይተን ለመንን። የወንጀል ጉዳይ ጠበቃ ክፍያውን በውጤቱ ላይ መመሥረት በሙያው ሥነ ምግባር የተከለከለ መሆኑን ኋላ ስረዳ፣ እማማ ሕግ ሳይማሩ ያንን ሰው እንዴት እንደለዩት አስቤ እግዚአብሔርን አመሰገንኩ።

በጾሙ ማብቂያ ባለቤቴ የዐቃቤ ሕጉን ደብዳቤ እንደገና አነበበው። እኔ እስከዚያ ድረስ ከመጀመሪያው ገጽ አልፌ አላነበብኩትም ነበር፤ ስይዘው እጄ ይንቀጠቀጣል። በሁለተኛው ገጽ ግርጌ፣ ወረቀቱ ከታጠፈበት መስመር በታች፣ ጠበቃ ለማቆም አቅም ከሌለሽ የፌዴራል ተከላካይ ጠበቆችን ቢሮ አነጋግሪ የሚል ዐረፍተ ነገርና የስልክ ቁጥር ነበር። የምንለምነው መልስ ገና መጾም ሳንጀምር በቤታችን ጠረጴዛ ላይ ተቀምጦ ነበር።

ይህን ለሰው ስንናገር ብዙዎች አልተደሰቱም። «መንግሥት ከስሶሽ መንግሥት ጠበቃ ይሰጥሻል?» «ነፃ ጠበቃ አሳልፎ ይሰጥሻል» የሚሉ ብዙ ነበሩ። ይህ ፍርሃት ወገኖቻችንን እየጎዳ ስለሆነ ያወቅሁትን ልንገራችሁ። የጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1938 በሰጠው ውሳኔ በፌዴራል ወንጀል የተከሰሰና አቅም የሌለው ሰው ጠበቃ ሊቆምለት እንደሚገባ አጽንቷል፤ በ1964 የወጣው ሕግ ደግሞ ለእነዚህ ጠበቆች የሚከፈልበትን ሥርዓት ዘርግቷል። የቢሮው ጠበቆች ታማኝነታቸው ለደንበኛቸው ነው፤ የሚሠሩት በፌዴራል ወንጀል ጉዳይ ላይ ስለሆነ ዳኞቹንም ዐቃቤ ሕጎቹንም ያውቃሉ፤ የራሳቸውም መርማሪዎች አሏቸው። በአንድ ጉዳይ ብዙ ሰዎች ሲከሰሱ የጥቅም ግጭት እንዳይፈጠር፣ ለሌሎቹ ፍርድ ቤቱ ከመዘገባቸው የግል ጠበቆች መካከል ይመድባል።

የተመደበችልኝ ጠበቃ ወጣት ሴት ነበረች። በመጀመሪያው ቀን የጠየቀችኝ በምሠራበት ድርጅት ቢሮ ውስጥ የኮምፒዩተር የይለፍ ቃሌን ማን ማን እንደሚያውቅ ነበር። የሁላችንም የይለፍ ቃል በኃላፊው ትእዛዝ በአንድ ደብተር ተጽፎ ባልተቆለፈ መሳቢያ ውስጥ ይቀመጥ ስለነበር ይህንኑ ነገርኳት። ከዚያም አንድ ከባድ ነገር አዘዘችኝ፦ ለእርሷ የምነግራትን ሕግ ይጠብቀዋል፤ ለጓደኛ ወይም ለጸሎት ቡድን የምዘረዝረው ግን በምስክርነት ሊጠራ ይችላል። ልባችንን ማካፈል ለለመድን ሰዎች ይህ ቀላል አይደለም። እማማን «ጉዳዩን ሳልነግርዎ ይጸልዩልኝ» ስላቸው «የሚያውቀው ያውቀዋል» ብለው እንደ በፊቱ ጸለዩልኝ።

ክሱ ተመሥርቶ በማጂስትሬት ዳኛ ፊት ስቀርብ አስተርጓሚ ተመደበልኝ፤ የገቢዬን ሁኔታ በመሐላ ሞላሁ፤ ፓስፖርቴን አስረክቤ፣ አብረውኝ ከተከሰሱት ጋር ስለ ጉዳዩ እንዳልነጋገር ታዝዤ በፊርማዬ ተለቀቅሁ። ቀጥሎ የመጣው ፈተና ግን ከእስራት ይልቅ አስፈራኝ። ዐቃቤ ሕግ ጥፋተኝነቴን ካመንኩ ቅጣቱ እንዲቀልልኝ ሐሳብ አቀረበ። በፌዴራል ፍርድ ቤት ጥፋተኛ ከሚባሉት ከ90 በመቶ በላይ የሚሆኑት ጥፋታቸውን ራሳቸው አምነው መሆኑን ጠበቃዬ ነገረችኝ። ነገር ግን ጉዳቱ ከ10,000 ዶላር የሚበልጥ የማጭበርበር ወንጀል ግሪን ካርድ ያለውን ሰው ከአገር ሊያስባርር እንደሚችል አስጠነቀቀችኝ፤ ይህን ማስረዳት የጠበቃ ግዴታ መሆኑን ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ2010 ወስኗል። ውሳኔው የእኔ መሆኑን ነግራ ጊዜ ሰጠችኝ። ጥፋተኝነት የሚታመነው በዳኛ ፊት በመሐላ ነው። ያላደረግሁትን አደረግሁ ብዬ በእግዚአብሔር ስም መማል አልቻልኩም፤ እምቢ አልኩ።

የተከላካይ ጠበቆቹ ቢሮ መርማሪ ከዚህ በኋላ በረጅም ጠረጴዛ ላይ ሁለት ክምር ወረቀት አስቀመጠ። አንዱ በእኔ ስም የተላኩት የክፍያ ጥያቄዎች ዝርዝር ነው፤ ከእያንዳንዱ አጠገብ የተላከበት ቀንና ሰዓት አለ። ሌላው ከማታ ሥራዬ የመጣ የመግቢያና የመውጫ ሰዓት መዝገብ ነው፤ በሆስፒታሉ በር መታወቂያችንን ሳናስነካ አንገባም። በማስመሪያ መስመር በመስመር ሲያስተያይ፣ ሐሰተኛ የተባሉት ጥያቄዎች በብዛት የተላኩት እኔ ሆስፒታል ውስጥ ወለል በማጸዳባቸው ሰዓታት ሆኖ ተገኘ። ለዓመታት «ጌታ ሆይ፣ ከዚህ የማታ ሥራ አውጣኝ» እያልኩ እጸልይ ነበር። ያ ያልተመለሰልኝ ጸሎት በዚያ ጠረጴዛ ላይ ምስክር ሆኖ ቆመልኝ።

ጠበቃዬ ማስረጃውን ለዐቃቤ ሕግ አቀረበች፤ እነርሱም በራሳቸው መንገድ አጣሩ። በመጨረሻ ዐቃቤ ሕግ ራሱ በእኔ ላይ ያቀረበውን ክስ ለማንሳት ፍርድ ቤቱን ፈቃድ ጠየቀ፤ ዳኛውም ዳግመኛ ሊቀርብ በማይችልበት ሁኔታ ዘጉት። አስተርጓሚው ሲነግረኝ ባለቤቴ ከኋላ ወንበር «ተመስገን!» ብሎ ጮኸ፤ ዳኛውም አልተቆጡትም። ጠበቃዬን አቅፌ አለቀስኩ፤ እርሷ ግን ወዲያው ፓስፖርቴ የሚመለስበትን ማመልከቻ ታስፈርመኝ ጀመር፤ በዚያው ጠዋት ሌላ ደንበኛ ይጠብቃት ነበርና።

ከእኔ ጋር የተከሰሰች አንዲት እህት ጉዳይዋ ገና በቀጠሮ ላይ ነው። እርሷም በፍርድ ቤት የተመደበላት ጠበቃ አላት። ስለ ነገሯ እንዳልናገር ስለተነገረኝ ስሟን አልጠቅስም፤ እናንተ ግን እህታችን ብላችሁ በጸሎታችሁ አስቧት፤ ለጠበቃዋም ማስተዋል እንዲሰጠው ለምኑላት።