መጀመሪያ ጎማው፦ ከሱሉልታ ወደ ኤድመንተን ለሚሄዱ

ከኤድመንተን ተመልሼ ሱሉልታ መኖር ከጀመርሁ ወዲህ፣ ወደ ካናዳ ለመሄድ ቪዛ የተመታላቸው የዘመድና የጎረቤት ልጆች እየመጡ ስለ ሥራ፣ ስለ ቤት ኪራይና ስለ ብርዱ ይጠይቁኛል። የመኪና ነገር ሲነሣ ግን ከሚጠይቁኝ ይልቅ የሚነግሩኝ ይበዛል፤ በአራቱም ጎማ የሚስብ መኪና እንደሚገዙና የበረዶው ጉዳይ በዚያ እንደሚያበቃ ከወዲሁ ወስነዋል። ሰሞኑን የእህቴ ልጅ “ጋሼ፣ ፎር ዊል ከያዝሁ ደግሞ ለምን ጎማ እቀይራለሁ?” ብሎ ሲጠይቀኝ፣ መልሱን ለእርሱ ብቻ ነግሬ ከምተወው ለሌሎችም እንዲደርስ በጽሑፍ ማስፈር እንደሚሻል ተሰማኝ።

ይህ እምነት ከየት እንደሚመጣ አውቃለሁ። ከእንጦጦ ጀርባ ያለው የሱሉልታ ሜዳ በክረምት ውኃ ይቋጥራል፤ ከጎጃም መንገድ ወጣ ብለው ወደ መንደሩ ሲገቡ ጥቁሩ መረሬ አፈር ጎማ ውጦ ይይዛል። የቤት መኪናው ተይዞ ሲቀር ሃይሉክሱና ላንድክሩዘሩ በአራት ጎማ ማርሽ እያጓሩ ያልፋሉ። ይህን እያየ ያደገ ልጅ ፎር ዊል ከማንኛውም ክፉ መንገድ ያወጣል ብሎ ቢያምን አይፈረድበትም፤ በጭቃ ላይ የሹፌሩ ጭንቀት ወደ ፊት መሄዱ ነውና። በበረዶ ላይ ግን ሰው የሚጎዳው መኪናው መሄድ አቅቶት ሳይሆን፣ በሚፈለግበት ቦታ አልቆም ሲል ነው።

የሞተሩ ኃይል ለሁለት ወይም ለአራት ጎማ መድረሱ ለውጥ የሚያመጣው ነዳጅ በሚሰጥበት ጊዜ ነው። ፍሬን ሲረገጥ ማንኛውም መኪና፣ ኮሮላም ሆነ ላንድክሩዘር፣ በአራቱም ጎማ ነው የሚይዘው፤ ስለዚህ ፎር ዊሉ በመቆሚያ ርቀቱ ላይ የሚያሳጥረው ነገር የለም። ፍጥነት ይዞ ኩርባ ለሚገባ ሰውም እንዲሁ ነው፤ መኪናውን ከመንገዱ ጋር የሚያስተሳስሩት መሬት የነኩት አራት የጎማ ገጾች ብቻ ናቸው። እንዲያውም ፎር ዊል ከቆመበት ያለ ችግር ስለሚነሣ የመንገዱን ክፋት ከሹፌሩ ይሰውርበታል፤ ሹፌሩም መንሸራተቱን የሚያውቀው መብራት ላይ ሊቆም ሲሞክር ነው። በኤድመንተን የመጀመሪያው በረዶ በጣለ ማግስት ከመንገድ ወጥተው ቦይ ውስጥ ከሚታዩት መኪኖች መካከል ግዙፍ ፒክአፖችና ፎር ዊሎች ጥቂት እንዳልሆኑ ብዙ ክረምት አይቻለሁ።

ወደ ጎማው ልምጣ። ለሞቃት ጊዜ የተሠራ ጎማ፣ ሙቀቱ ወደ 7 ዲግሪ ገደማና ከዚያ በታች ሲወርድ፣ ገና በረዶ ሳይኖር፣ ውኃው እንዳለቀ ጥሬ ቆዳ እየገረረ ይሄዳል፤ የገረረ ላስቲክ ደግሞ መሬቱን ጨብጦ መያዝ አይችልም። የክረምት ጎማ፣ ማለትም ለካናዳው የብርድና የበረዶ ወቅት የተሠራው፣ ከዜሮ በታች 30 ዲግሪ በሚደርሱት የኤድመንተን ቀናት እንኳ ልስላሴውን እንዲጠብቅ ታስቦ የተቀመመ ነው። ጥርሱ ጠለቅ ያለ ነው፤ በየጥርሱም ላይ ብዙ ቀጫጭን ስንጥቆች አሉት፤ ጎማው መሬት ሲነካ እነዚህ ስንጥቆች ይከፈቱና ጠርዞቻቸው በረዶውን ይነክሳሉ።

የአገራችን ሹፌሮች በጣም የሚገረሙበት ነጥብ ይኸኛው ነው። ጥሩ የጭቃ ጎማ ጥርሶቹ ትልልቅና የተራራቁ ናቸው፤ ጭቃውን እያራገፈ ወደ ጠንካራው መሬት ሊደርስ ይፈልጋል። የክረምት ጎማ ተቃራኒውን ይሠራል፤ በረዶውን በጥርሶቹ መካከል ይዞ ያቆየዋል፤ በረዶ በበረዶ ላይ ሲጫን ይያያዛልና፣ በጥርሶቹ መካከል የታመቀው በረዶ መንገዱ ላይ ካለው ጋር ተነካክሶ መኪናውን ይይዘዋል። ስለዚህ በሱሉልታ ጭቃ የምንመካበት ባለ ትልልቅ ጥርስ ጎማ፣ መልኩ ምንም ቢያስፈራ፣ በተጠቀጠቀ በረዶና በግግር ላይ ደካማ ነው፤ ላስቲኩ ይገርራል፤ መሬት የሚነካው ገጹም ትንሽ ነው፤ የሚነክሱ ስንጥቆችም አይበዙበትም። ፎር ዊል የገዛ ሰው ለመኪናው ግርማ ሲል ይህን ጎማ እንዲያስገጥም ሲመክሩት እሺ እንዳይል አደራ እላለሁ።

ትክክለኛውን ጎማ በመልኩ መለየት አይቻልም፤ ጎኑን ማንበብ ያስፈልጋል። ኤም እና ኤስ የሚሉት ፊደላት ጭቃና በረዶ ማለት ቢሆኑም፣ የሚመሰክሩት ስለ ጥርሱ አቀራረጽ ብቻ ነው፤ አምራቹ ያለ ምንም የበረዶ ላይ ፈተና ሊጽፋቸው ይችላል። የሚፈለገው ከ1999 ጀምሮ በሥራ ላይ ያለው፣ ሦስት ጫፍ ያለው ተራራ በውስጡ የበረዶ ቅንጣት የተሣለበት ምልክት ነው፤ ይህን ለማግኘት ጎማው በበረዶ ላይ ተፈትኖ ከመለኪያው ጎማ የተሻለ መሳብ አለበት። ፈተናው የሚለካው ግን በበረዶ ላይ የመሳብ አቅሙን እንጂ በግግር ላይ የማቆም አቅሙን ስላልሆነ፣ ምልክቱን መነሻ አድርጎ መውሰድ እንጂ ሁሉንም ነገር እንደሚያረጋግጥ መቁጠር አይገባም።

ሕጉ እንደየክፍለ ሀገሩ ይለያያል። ኩቤክ ከኅዳር ማገባደጃ እስከ መጋቢት መጀመሪያ፣ በፈረንጆቹ ከዲሴምበር 1 እስከ ማርች 15፣ የክረምት ጎማ ያስገድዳል፤ ብሪቲሽ ኮሎምቢያ ከኦክቶበር 1 ጀምሮ በአብዛኞቹ የተራራ መንገዶቿ ላይ ትጠይቃለች። ኤድመንተን ያለችበት አልበርታ በሕግ አታስገድድም፤ ብዙ አዲስ ሰዎችም ካልተገደድሁ ምን አስወጣኝ ይላሉ። የኤድመንተን ብርድ ከኩቤክ ብርድ ስለማያንስ የሕጉን ዝምታ እንደ ፈቃድ መውሰድ ትልቅ ስሕተት ነው።

ሁለተኛ ጎማ የሚያስቀምጥበት ቦታ ለሌለው የአፓርታማ ተከራይ፣ የተራራውን ምልክት ይዞ ዓመቱን ሙሉ የሚነዳ ጎማም አለ። ከተማ ውስጥ ብቻ ለሚነዳ ሰው አልቃወመውም። እንደ እህቴ ልጅ ሥራ ፍለጋ ከኤድመንተን እስከ ፎርት ማክመሪ ከተማ ድረስ ከ400 ኪሎ ሜትር በላይ በክረምት ለሚመላለስ ሰው ግን እውነተኛ የክረምት ጎማ እንጂ ሌላ አልመክርም። በየትኛውም መንገድ ግዢው አራቱንም ነው። ሁለቱን ፊት ብቻ የቀየረ ሰው ፍሬን ሲይዝ የኋላው ይሸሽና መኪናው ይዞርበታል፤ በፎር ዊል ላይ ደግሞ የጎማዎቹ ጥርስ እኩል ካልሆነ አዟዟራቸው ስለሚለያይ ፊትና ኋላን የሚያገናኘው ክፍል ያለ ዕረፍት እየተፋተገ ይጎዳል። በሹፌሩ ፈቃድ ብቻ ወደ አራት ጎማ የሚገባ የድሮ ዓይነት ፎር ዊል የያዘ ሰውም፣ በረዶው ተጠርጎ ደረቅ አስፋልት ላይ ሲወጣ መልሶ ሊያወጣው ይገባል።

ያገለገለ ጎማ መግዛት ነውር የለውም፤ ለአዲስ መጤ ብዙ ጊዜ ያለው አማራጭ እርሱ ነው። ጎኑ ላይ ያሉትን የመጨረሻ አራት ቁጥሮች ይመልከት፤ 3522 ካለ በ2022 ዓመተ ምሕረት፣ በፈረንጅ አቆጣጠር፣ በ35ኛው ሳምንት ተሠርቷል ማለት ነው። ላስቲክ ሳይነዳም በዕድሜ ብቻ ይደርቃልና፣ ጥርሱ ሙሉ የሆነ አሮጌ ጎማ ሊያታልል ይችላል። የጥርሱ ጥልቀት ከ4 ሚሊ ሜትር በታች ከሆነ በበረዶ ላይ ዋጋው እያለቀ ነውና ይተወው።

መኪናው የሚፈቅድ ከሆነ በአንድ ኢንች ያነሰ ቸርኬና ጠበብ ያለ ጎማ እመርጣለሁ፤ ጠባቡ ጥልቅ በረዶን ቆርጦ ይገባል፤ ዋጋውም ይቀንሳል። ለክረምቱ የራሱ ቸርኬ ካለው በየወቅቱ ጎሚስታ ጎማ እያወለቀ እንዲገጥም መክፈልም ይቀራል። የአየሩን ነገር ደግሞ በየጊዜው መከታተል ግድ ነው፤ ሙቀቱ በወረደ በየ5 ወይም 6 ዲግሪው የጎማው አየር ግፊት ወደ 1 ፒኤስአይ (የግፊት መለኪያ ነው) ገደማ ስለሚቀንስ፣ ሞቃት ጋራዥ ውስጥ በልኩ የተሞላ ጎማ ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ ወዳለበት ሲወጣ ጎድሎ ይገኛል።

እዚህ ሱሉልታ በታኅሣሥ ሌሊት ሣሩ ላይ ውርጭ ቢያድርም፣ በክረምትም በረዶ ቢጥል፣ ፀሐይ ስትወጣ ሁሉም ይጠፋል። የተራራ ምልክት ያለበት ጎማ ጎማ ተራ ውስጥ በርካሽ የተገኘ እንደ ሆነ ለአዲስ አበባ መንገድ አይጠቅምም፤ ለስላሳው ላስቲክ በሞቃት አስፋልት ላይ ቶሎ ያልቃል፤ ፍሬን ሲያዝም መኪናውን ከበጋ ጎማ ይልቅ አርቆ ያቆማል።

ለእህቴ ልጅ ከመኪናው ገንዘብ ላይ ለጎማው ቀድሞ እንዲያስቀር ነግሬዋለሁ፤ የመግጠሚያ ቀጠሮውንም መጀመሪያው በረዶ ከመጣሉ በፊት፣ በመስከረም ውስጥ፣ እንዲይዝ፤ በረዶው ከጣለ በኋላ ወረፋው ሳምንታት ሊወስድ ይችላል። ጎማው ከተገጠመ በኋላ ማንም በሌለበት ሰፊ ማቆሚያ ውስጥ በዝግታ እየነዳ ፍሬኑን አጥብቆ በመርገጥ መኪናው የት ድረስ ሄዶ እንደሚቆም ይይ፤ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ከነዳ በኋላም የቸርኬዎቹን ዳዶዎች እንደገና በመለኪያ ቁልፍ ያስጠብቅ።